ቡድኑ ለማን ይሰጥ? ለተጫወተው ወይስ ለተማረው?

አወያይ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከትናንት ማታ ጀምሮ በድምፅ ስትላላኩ ያደራችሁትን ሰምቼ አልጨረስኩም፤ አንዳንዱ አምስት ደቂቃ ነው፣ ግማሹ ደግሞ ሳል ነው። ስለዚህ በጽሑፍ እናድርገው። ለአዲስ ገቢዎች ነገሩ ይህ ነው፦ እዚህ ደብረ ማርቆስ ያለው የታዳጊዎች ቅርጫት ኳስ ቡድናችን ከመስከረም ወዲህ አሰልጣኝ የለውም። ሁለት ሰው ቀርቧል። አንዱ አዲስ አበባ ክለብ ውስጥ ዓመታት ተጫውቶ የተመለሰ፣ የአሰልጣኝነት ላይሰንስ ግን የሌለው ነው። ሌላው በስፖርት ሳይንስ ተመርቆ የመጀመሪያውን የአሰልጣኝነት ኮርስ የወሰደ ወጣት ነው፤ በክለብ ደረጃ ተጫውቶ አያውቅም። ስም አንጠራም፤ ሁለቱም እዚሁ ግሩፕ ውስጥ ናቸው። ስለ ውጪ የምትጽፉ ዓመቱን በፈረንጅ አድርጉት፣ አለዚያ ትናንት እንደሆነው በሰባት ዓመት ልዩነት ስትጨቃጨቁ ታድራላችሁ። የተሳደበ ይወጣል።

ጨሞጋ፦ ይኼ ምን ክርክር ያስፈልገዋል? ለተጫወተው ይሰጥ። ስቲቭ ኬርን እዩት። በ2014 ጎልደን ስቴት የሚባለው የኤንቢኤ (የአሜሪካው ሊግ) ክለብ ሲቀጥረው ዋና አሰልጣኝነቱ ይቅርና ረዳት እንኳ ሆኖ አያውቅም ነበር። በመጀመሪያው ዓመቱ ዋንጫ በላ። በ2017፣ በ2018፣ በ2022 ደገመው። በተጫዋችነት አምስት፣ በአሰልጣኝነት አራት፣ በድምሩ ዘጠኝ። ላይሰንሱ ላቡ ነው።

የቢቸና ጤፍ፦ ማጂክ ጆንሰንስ? እሱም በተጫዋችነት አምስት ዋንጫ አለው። በ1994 ሌከርስን ተረክቦ 16 ጨዋታ መራ። 5 አሸነፈ፣ 11 ተሸነፈ፣ ተወው። ማጂክ ኳስ አያውቅም ልትለን ነው?

ጨሞጋ፦ እሱ ሌላ ነው።

የቢቸና ጤፍ፦ ለምን ሌላ ሆነ? ስላልተመቸህ?

የድሮ ሴንተር፦ ልጆች፣ እኔ ስለ አሜሪካ ብዙ አላውቅም። አገራችን ግን የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ ይሁን ጎንጅ ወይም ዲማ፣ ሙሉ ቤት ሳይቀኝ ወንበር ላይ ተቀምጦ የኔታ የተባለ አይታችኋል? ተማሪው ጉባኤ ቃናውን፣ አጭሩን ቅኔ፣ ቆጥሮ መጥቶ ሲነግር፣ ስሕተቱ ገና ከአፉ ሳይወጣ የኔታ የሚሰማው ለምን ይመስላችኋል? እሱም በዚያው ቦታ ላይ ተሰናክሎ ስለሚያውቅ ነው። ከመጽሐፍ ላይ አይደለም። ኳስም እንደዚያው ነው። ጎኑን በክርን ተመቶ የማያውቅ ሰው ሪባውንድ፣ ስቶ የተመለሰ ኳስ መያዝ፣ እንዴት ያስተምራል?

ባለ ሰርተፊኬት፦ ጋሼ፣ በአክብሮት፣ ምሳሌው ለእኔ ነው የሚያደላው። የቅኔ ተማሪ ሙሉ ቤት በተቀኘ ማግስት የኔታ ይባላል? አይባልም። ከየኔታው ሥር ሆኖ ታናናሾቹን ዓመታት ያስነግራል፣ አገባቡን ይመረምራል፣ ከዚያ ተመርቆ ነው የሚወጣው። ያ ላይሰንስ ካልሆነ ምንድን ነው? ጎጃም ውስጥ ስንት ጥሩ ባለቅኔ አለ፣ አንድም ቀን ጉባኤ ያልዘረጋ። መቀኘት አንድ ሙያ ነው፣ ማስቀኘት ሌላ ሙያ ነው። ደግሞ ግሬግ ፖፖቪችን አንርሳው። ኤንቢኤ ውስጥ አንድ ጨዋታ አልተጫወተም፤ ሳን አንቶኒዮን ይዞ አምስት ዋንጫ አነሳ። ኤሪክ ስፖልስትራ ማያሚ ሲገባ ሥራው ቪዲዮ መቁረጥ ነበር። በ2012 እና በ2013 እነ ሌብሮንን ይዞ ዋንጫ ወሰደ።

የእንጅባራ ፈረሰኛ፦ እኛ ጋ ጥር 23 ሜዳ ላይ ሕዝብ የሚያጨበጭብለት ጋላቢ አንድ ነው፤ ፈረሱን ከውርንጭላነቱ የገራው ደግሞ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አታምታቱ።

የድሮ ሴንተር፦ የገራውስ ከፈረስ ወድቆ አያውቅም?

የእንጅባራ ፈረሰኛ፦ አያ ሴንተር፣ እሱማ ከሁላችንም በላይ ወድቋል 😂

ሪፈሪዋ፦ አንድ ነገር ልበል፣ ትንሽ ይረዝማል። ሁላችሁም ኬርን የምትጠሩት ኮከብ እንደነበረ አድርጋችሁ ነው። አልነበረም። በ1988 የሊጉ ክለቦች አዲስ ተጫዋቾች ሲመርጡ 50ኛ ነው የተጠራው። በሙያ ዘመኑ በጨዋታ በአማካይ 6 ነጥብ ነው ያገባው። ዩኒቨርሲቲ እያለ ጉልበቱ ተበጥሶ አንድ ሙሉ የውድድር ዓመት ከሜዳ ውጭ ሆኗል። የነበረው ነገር አንድ ነው፣ እሱም ከሦስት ነጥብ መስመር አይስትም ነበር፤ 45.4 በመቶ፣ እስከ ዛሬ በኤንቢኤ ታሪክ ከሱ የበለጠ አማካይ ይዞ የጨረሰ የለም። በ1997 የፍጻሜው ስድስተኛ ጨዋታ ከዩታ ጋር 86 ለ86 ሆኖ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር፣ ሰው ሁሉ ጆርዳን ይተኩሳል ብሎ ሲከበው፣ ኳሱ ወደ ኬር ሄደ፣ ገባ። በልምምድ ላይ ከጆርዳን ጋር ተደባድቦ በቡጢ የተመታውም ይኸው ሰውዬ ነው።

የምለው ምንድን ነው? ኬር አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበር። ከጎኑ ያለው ማን ነው? ቺካጎ ፊል ጃክሰን፣ ሳን አንቶኒዮ ፖፖቪች። የዓለም ምርጥ ሁለት አሰልጣኞች ሲያስቡ በቅርብ አይቷል። በ2003 ጫማ ሰቀለ፣ በ2014 አሰልጣኝ ሆነ። መሃሉ ላይ 11 ዓመት አለ፤ በቴሌቪዥን ጨዋታ ሲተነትን፣ ፊኒክስን በሥራ አስኪያጅነት ሲመራ። ስለዚህ ጨሞጋ፣ ሳይማር ገባ አትበል። ባለ ሰርተፊኬት፣ አንተም ኮርስ ብቻ አትበል።

እኔ ፊሽካ ይዤ ብዙ ወንበር አይቻለሁ። ተቀያሪ ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፦ ፎጣ አጥልቆ የሚያኮርፍ፣ እና ገና ፎሉን ሳልነፋ «ፎል!» ብሎ የሚጮህ። ሁለተኛው ነው አንድ ቀን አሰልጣኝ የሚሆነው። የእኛን የቀድሞ ተጫዋች ጠይቁት፣ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ምን ያደርግ ነበር?

ጨሞጋ፦ እሱማ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፣ ዋና ተሰላፊ ነበር።

ሪፈሪዋ፦ ችግሩ እሱ እንዳይሆን ነው የምፈራው።

የቢቸና ጤፍ፦ ይኼ ጥሩ ነው። ግን ላሪ በርድስ? ከኮከብም ኮከብ። ልምድ ሳይኖረው በ1997 ኢንዲያናን ያዘ፣ በመጀመሪያው ዓመቱ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተባለ፣ በ2000 ፍጻሜ አደረሳቸው። ሕግ የለውም ነገሩ። (አዎ፣ ቅድም በሌላ በኩል ነበር የተከራከርኩት፣ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።)

ባለ ሰርተፊኬት፦ ስለ ኬር ከተነሳ የ2015ቱን ፍጻሜ ማንም አላነሳም። ከክሊቭላንድ ጋር 2 ለ1 ተመርቷል። ረጅሙን ቦገትን አስወጥቶ ኢጉዳላን ከመጀመሪያው አሰለፈ፣ አከታትሎ ሦስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን በላ፣ ኢጉዳላም የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ሆነ። ሐሳቡ የማን ነበር? የኬር አልነበረም። ኒክ ዩሬን የሚባል 28 ዓመት የሆነው፣ ከቪዲዮ ጋር የሚውል ረዳቱ ነው። ሌሊት ቪዲዮ ሲያይ አድሮ ነው ያመጣው። ኬር ዘጠኝ ዋንጫውን የበላው የቪዲዮ ልጅ ስላዳመጠ ነው እያልኩ አይደለም። ግን አዳምጧል። እኛ ጋ ያለው የቀድሞ ተጫዋች ተመራቂ ልጅ «አሰላለፉን እንቀይር» ቢለው ምን ይለዋል? «አንተ የት ተጫውተህ ነው?» ነው የሚለው። በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

አወያይ፦ ስም ባትጠራም ወደ ሰው እየሄድክ ነው። ተመለስ።

የዓባይ ዳር፦ ከባሕር ዳር ነኝ፣ ዘግይቼ ገባሁ። ለምን ሁልጊዜ አሜሪካ? ጎረቤታችንን ደቡብ ሱዳንን እዩ። ነፃ ከወጣች 13 ዓመቷ ነበር፣ ሐምሌ 2024 ለንደን ላይ ከአሜሪካ ጋር ለወዳጅነት ስትጫወት። በእረፍት ሰዓት በ14 ነጥብ ትመራ ነበር። መጨረሻ ላይ ሌብሮን አግብቶ 101 ለ100 አመለጡ። ከአሜሪካ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያልበው የነበረው ማን መሰላችሁ? ያው ኬራችሁ ነው። ከደቡብ ሱዳን በኩል ደግሞ ሮያል አይቪ፣ ኤንቢኤ ውስጥ አሥር ዓመት የተጫወተ፣ አብዛኛውን ተቀያሪ፣ ከዚያ በረዳት አሰልጣኝነት የሠራ። የሪፈሪዋ ነገር እዚህም ይሠራል። ፌዴሬሽኑን የሚመራው ሉዎል ዴንግ ነው፣ እሱም ተጫዋች። በፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ79 አሸነፉ። ኢትዮጵያ በ1962 በመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ዋንጫ ካይሮ የሄደች አገር ነች። ያኔ ደቡብ ሱዳን የምትባል አገር አልነበረችም። ዛሬ እኛ የታዳጊ ቡድን ለማን እንስጥ ብለን ከትናንት ጀምሮ እንጨቃጨቃለን።

የድሮ ሴንተር፦ ልጄ፣ የ62ቱን ስታነሳ ሆዴን ባር ባር አለው።

ጨሞጋ፦ ዴንግ ገንዘብ አለው፣ ከኪሱ ያወጣል። እኛ ጋ አሰልጣኙን ማን ይከፍለዋል?

የቢቸና ጤፍ፦ አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣህ። እኔ የማውቀው፣ ከዚህ በፊት አንድ ቡድን ሳሰለጥን ስድስት ወር «ይመጣል» እየተባልኩ ሳይመጣ የቀረ አበል አለ። የትራንስፖርት እንኳ ከኪሴ ነበር። የተማረውም የተጫወተውም በነፃ ከሆነ የሚሠራው በጥቅምት ጀምሮ በጥር ይጠፋል። ያኔ ሌላ ግሩፕ ከፍተን ስለ ሦስተኛው ሰው እንከራከራለን።

ሪፈሪዋ፦ ሌላ የረሳችሁት። ቡድኑ ግማሹ ሴቶች ናቸው፣ ክርክሩ ግን ስለ ሁለት ወንዶች ነው። ቤኪ ሃመን የምትባል ተጫዋች ነበረች፤ ማንም ሳይመርጣት ወደ አሜሪካ የሴቶች ሊግ ገብታ 16 የውድድር ዓመት ቆይታለች። በ2013 ጉልበቷ ተበጥሶ ስትቀመጥ ቤቷ አልተኛችም፣ የፖፖቪችን ልምምድ እየሄደች ታይ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ረዳቱ አደረጋት። በ2022 ላስ ቬጋስን ይዛ በገባች በመጀመሪያ ዓመቷ ዋንጫ፣ በ2023 ደግሞ ደገመች። እዚህ ከተማ ውስጥ ተጫውተው አግብተው፣ ልጅ ወልደው፣ ቤት የተቀመጡ ቢያንስ አራት ሴቶች አውቃለሁ። አንዷን የጠየቀ አለ?

አወያይ፦ የለም። እውነት ነው፣ እኔም አልጠየቅሁም።

የእንጅባራ ፈረሰኛ፦ ኬር ግን ስለ ጦር መሣሪያ ሲናገር አይቼዋለሁ፣ እንባው ሊመጣ ደርሶ። አሰልጣኝ ስለዚህ ምን አገባው ብዬ ነበር።

የዓባይ ዳር፦ አባቱን በጥይት ነው ያጣው። ማልኮም ኬር፣ የቤይሩት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ነበር፣ በጥር 1984 ቢሮው ደጃፍ ገደሉት። ስቲቭ ራሱ የተወለደው ቤይሩት ነው፣ ካይሮም ኖሯል። ሲሞት ልጁ 18 ዓመቱ ነው፣ የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመቱ። ኮከብ ያልነበረ፣ ጉልበቱ የተበጠሰ፣ አባቱ የተገደለበት። ተጫዋች ተቆጥቶ ሲመጣበት ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠው ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ይኼ በኮርስ አይሰጥም፣ በዋንጫ ብዛትም አይገኝም።

ቁጥር 11፦ ሰላም። ስም ባትጠሩም እኔ ነኝ የቀድሞው ተጫዋች። ከትናንት ጀምሮ እያነበብኩ ነው። «አንተ የት ተጫውተህ ነው» ያልኩት እውነት ነው፣ ተናድጄ ነበር፣ ይቅርታ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ሳምንት ልጆቹን ላያቸው ሄጄ አንዱ ትንሽዬ «ሌይ አፕ ስትገባ በየትኛው እግርህ ነው የምትነሳው?» አለኝ። ሮጦ ከቅርጫቱ ሥር ማግባት ማለት ነው፣ ስንት ሺህ ጊዜ ያገባሁት ነገር። መልሱ ጠፋኝ። ኳሱን ይዤ ሁለት ጊዜ ሮጬ እግሬን አይቼ ነው የመለስኩለት። ልጁም «አታውቅም እንዴ?» አለኝ።

ባለ ሰርተፊኬት፦ በቀኝ ከገባህ በግራ እግር ነው የምትነሳው። እኔ ደግሞ ይህን አስረድቼ ሳሳያቸው ኳሷ ቦርዱን ስታ ጎረቤት ግቢ ገባች። እስከ ዛሬ ይስቁብኛል።

(አዎ፣ እኔ ነኝ ሌላው ዕጩ። ገምታችሁ ይሆናል።)

ሪፈሪዋ፦ ገምተናል 😂

ጨሞጋ፦ እሺ አብረው ይሥሩ። ዋናው ማን ይሆናል? አንድ ሰው መወሰን አለበት፤ አራተኛው ሩብ ላይ ሁለት ሰው ታይም አውት ሲጠይቅ ልጆቹ ወዴት ይሂዱ?

የድሮ ሴንተር፦ ታላቁ ይሁን።

የቢቸና ጤፍ፦ ላይሰንስ ያለው ይሁን፤ ውድድር ላይ ወንበር ለመቀመጥ ወረቀት ሊጠይቁ ይችላሉ።

ቁጥር 11፦ እኔ ለአንድ ዓመት ረዳት ብሆን አይከብደኝም። ኮርሱም ሲመጣ እወስዳለሁ። ግን አበሉ ላይ የተባለው ይጻፍልን፣ በቃል አይሁን። የሪፈሪዋም ይታሰብበት፤ ሴቶቹን የምትይዝ ሰው ብናገኝ እኔም እሱም ደስ ይለናል።

ባለ ሰርተፊኬት፦ እኔ ዋና መሆን እፈራለሁ፣ ግን እሞክራለሁ።

ጨሞጋ፦ እኔ አልተስማማሁም። የተጫወተው ዋና ይሁን። ፈርቻለሁ ያለ ሰው ልጆቹን ምን ያደርጋል?

ሪፈሪዋ፦ እሱ ቢያንስ ፈራሁ አለ። ጨሞጋ፣ አንተ የትኛው ቡድን ውስጥ ነው የተጫወትከው?

ጨሞጋ፦ እኔ ደጋፊ ነኝ። ደጋፊ ላይሰንስ አያስፈልገውም።

አወያይ፦ ድምፅ መስጫውን ከፍቻለሁ፣ እስከ እሁድ ማታ ሦስት ሰዓት። ለሴቶቹ አሰልጣኝ ሌላ መስጫ እከፍታለሁ፤ ሪፈሪዋ የአራቱን ሴቶች ፈቃድ ጠይቂልኝ። ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ልምምድ አለ። ያለን ኳስ አራት ነው፣ አንዱ ነፋስ ያስወጣል፣ ፓምፕ ያለው ይዞ ይምጣ። ጨሞጋ፣ ሁለት ስልክ እንዳለህ አውቃለሁ፤ በአንዱ ብቻ ምረጥ።