ለዓርብ የሚቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ የጋራ ሳሎኑና የቀን ውሎ

ጸሐፊ (ክፍል 9) — ሰኞ፣ ምሽት 1፡20
ረቂቁ ይኸው። የአረጋውያን መኖሪያው አስተዳደር፣ እኛ የነዋሪዎቹ ቤተሰቦች ማኅበር ሐሳባችንን እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ በአንድ ወረቀት ካላቀረብን የተረፈው የመዝናኛ በጀት ለጣሪያ ቀለም እንደሚውል ነግሮናል። ባለፈው ጊዜ ሦስት ወረቀት አቅርበን ምን እንደተከተለ ስለምታውቁ አልደግመውም።
አንደኛ፣ በሳምንት ሦስት ጠዋት፣ ከቁርስ እንደተነሡ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሠሩት የአካል እንቅስቃሴ። ሁለተኛ፣ ለሚፈልግ ነዋሪ ሁሉ የራሱ የአበባ ሳጥን። ሦስተኛ፣ ጋዜጣ ጮክ ብሎ ማንበብ፣ ከዚያም በ11 ሰዓት የድሮ ፎቶግራፍ እያዩ መጨዋወት። አራተኛ፣ በጋራ ሳሎኑ ግድግዳውን ታክከው የተደረደሩትን መቀመጫዎች በሙሉ አንስቶ በትንንሽ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ማድረግ። ዓላማው አንድ ነው፤ ከቁርስ እስከ ምሳ ቴሌቪዥን ላይ ተተክሎ መዋል ይብቃ።

ጡረተኛዋ ነርስ (ክፍል 3) — ሰኞ፣ ምሽት 1፡55
ሦስቱ ቀን ትክክል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ያወጣው መመሪያም ለአረጋውያን ሚዛንንና ጉልበትን የሚያጠናክር እንቅስቃሴ በሳምንት ሦስት ቀን ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ሰዓቶቹ ግን ሁለቱም ተበላሽተዋል። በዚህ ዕድሜ ከምግብ በኋላ የደም ግፊት ሊወርድ ይችላል፤ ከቁርስ አስነሥታችሁ እጅ ወደ ላይ ስትሉ አንዱ ቢወድቅ ማን ሊጠየቅ ነው? ቢያንስ አንድ ሰዓት ተኩል ይለፍ። የፎቶግራፉን 11 ሰዓት የጻፈው ደግሞ ማነው? የመርሳት ሕመም ካለባቸው ብዙዎቹ ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ይረበሻሉ፤ ቤቴ ልሂድ ይላሉ። በዚያ ሰዓት የልጅነት ቤታቸውን ፎቶግራፍ ልታሳዩአቸው! ወደ 9 ሰዓት አምጡት።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ሰኞ፣ ምሽት 2፡10
በአራተኛው ላይ ጥያቄ አለኝ። መስኮቱ ሥር ያለው የእንጨት ወንበርም ይነሣል? አክስቴ እዚያ ላይ ስድስት ዓመት ተቀምጠዋል። ከተነካ ስሜን ከረቂቁ አውጡልኝ።

ጸሐፊ (ክፍል 9) — ሰኞ፣ ምሽት 2፡14
ስለ አንድ ወንበር የጻፍነው ነገር የለም።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ሰኞ፣ ምሽት 2፡16
“በሙሉ” ይላል። በሙሉ ማለት በሙሉ ነው።

ሒሳብ ያዥ (ክፍል 14) — ሰኞ፣ ምሽት 2፡40
ከተነሣ አይቀር፣ ያ ወንበር ሶፋዎቹ ሲገቡ መውጣት ነበረበት። መዋጮ የለቀምሁት፣ ሱቅ ለሱቅ የዞርሁት፣ በጭነት መኪና ላይ ቆሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። ዘጠኝ አዲስ ሶፋ ባለበት ሳሎን እንግዳ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየው ቀለሙ የተላጠ ወንበር ነው።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ሰኞ፣ ምሽት 2፡43
ሳሎኑ የእንግዳ ከሆነ ነዋሪዎቹን ጓዳ አስገቧቸዋ።

የክፍል 6 ታላቅ ልጅ — ሰኞ፣ ምሽት 3፡05
ነገሩ ከወንበር በላይ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1958 ሶመርና ሮስ የተባሉ ተመራማሪዎች ሳስካችዋን፣ ካናዳ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የአረጋውያን ክፍል የሠሩትን ጽፈዋል። ክፍሉ ልክ እንደ እኛ ሳሎን በግድግዳው ዙሪያ ወንበር የተደረደረበት ነበር፤ ሰዎቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው አይነጋገሩም። ወንበሮቹ በጠረጴዛ ዙሪያ ሲሆኑ ጭውውቱ እጥፍ ገደማ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ግን ወንበሮቹ እየተገፉ ወደ ግድግዳው ይመለሱ ነበር። ስለዚህ ተቃውሞ መኖሩ አይገርመኝም፤ ሳምንታት መታገሥ ነው።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ሰኞ፣ ምሽት 3፡07
ስለ ሳስካችዋን አልጠየቅሁም።

የክፍል 12 ልጅ — ሰኞ፣ ምሽት 3፡30
የአበባ ሳጥኖቹን ለእኔ ተዉልኝ። እንጨት አለኝ። ነገ የማኅበሩን ሜትር ይዤ በረንዳውን እለካለሁ፤ ረቡዕ ሥዕሉን አመጣለሁ።

ጡረተኛዋ ነርስ (ክፍል 3) — ሰኞ፣ ምሽት 3፡36
ሳጥኑ እግር ይኑረው፤ ተሽከርካሪ ወንበር ሥሩ መግባት አለበት። ጎንበስ ብሎ መኮትኮት የሚችል ከሁለት ሰው በላይ የለንም።

የክፍል 12 ልጅ — ሰኞ፣ ምሽት 3፡37
ይገባኛል። ማክሰኞ።

የክፍል 2 የልጅ ልጅ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡00
የአበባው ሐሳብ ከየት እንደመጣ ላስታውስ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1976 ኤለን ላንገርና ጁዲት ሮዲን በአሜሪካ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ለአንዱ ወገን ተክል ምረጡ፣ ራሳችሁ ተንከባከቡ፣ ፊልም የምታዩበትን ምሽትም ወስኑ አሏቸው። ለሌላው ወገን ተክሉን ሰጥተው ነርሶች ያጠጡላችኋል አሏቸው። የወሰኑት ይበልጥ ንቁና ደስተኛ ሆነው ተገኙ። ተክሉ ሁለቱም ጋር ነበረ፤ ልዩነቱ የመረጠው ማን ነው የሚለው ነው። እኛ ግን በረቂቁ “ለእያንዳንዱ ነዋሪ ጽጌረዳ ይታደላል” ብለን ልንጽፍ ምንም አልቀረንም።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡08
ተባረኪ። አክስቴም ወንበር መርጠዋል።

ሒሳብ ያዥ (ክፍል 14) — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡30
አንድ ሰው ሃያ ስምንት ነዋሪ ያግታል። ምርጫ ከተባለ ድምፅ ይሰጥ። ደግሞ የአራት ወር መዋጮ ያልከፈለ ድምፅ እንዳለው ደንቡን ልመልከት።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡33
መዋጮ ያቆምሁት ደረሰኝ ስላላየሁ ነው። የሶፋውን ደረሰኝ ያየ እጁን ያውጣ።

ሒሳብ ያዥ (ክፍል 14) — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡34
ሌባ ነህ በለኝ እንግዲህ።

ጸሐፊ (ክፍል 9) — ማክሰኞ፣ ጠዋት 4፡50
ይበቃል። ደረሰኙ በእኔ መዝገብ ውስጥ አለ፤ ማየት የፈለገ ይምጣ። የመዋጮውን ነገር በጉባኤ እንጂ እዚህ አናነሣም። ስለ እንቅስቃሴው መሪ አንድም ሰው እስካሁን አልጻፈም። ማን ይመራል?

ጸሐፊ (ክፍል 9) — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡15
ማን ይመራል?

የክፍል 6 ታላቅ ልጅ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡40
ወንበሩ መሃል ላይ ሆኖ ፊቱ ወደ መስኮት ቢዞርስ? ሁለቱንም ወገን ያስታርቃል።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ማክሰኞ፣ ከሰዓት 9፡44
ጀርባቸውን ለሰው ሰጥተው? ቅጣት ነው የሚመስለው።

የክፍል 2 የልጅ ልጅ — ማክሰኞ፣ ምሽት 1፡05
ዛሬ ፈቃድ ሳልጠይቅ ጋዜጣ አነበብሁ። ሦስት ሰው አዳመጠ፣ አንዱ አነባበቤን አረመኝ፣ አንዷ እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ሲነቁ ከየት ደረስሽ ብለው ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ። በቀጭን ድምፅ ስጮህ ጭራሽ አይሰማም፤ በዕድሜ ቀድሞ የሚሄደው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ወፈር አድርጌ ቀስ ስል ሰሙኝ። ቴሌቪዥኑ መጥፋት አለበት፤ ይህን ረቂቁ ውስጥ አስገቡ። መስኮቱ ሥር የተቀመጥነውም ብርሃን ስላለ ነው።

ሒሳብ ያዥ (ክፍል 14) — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡10
የክፍል 11 እናታችን ሌሊቱን እንዳመማቸው አሁን ከጥበቃው ሰማሁ። ትናንት ይህን አላወቅሁም ነበር። ይማርልን። ስለ መዋጮው ያልሁትን ግን አላነሣም።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡25
አሜን። ተሽሏቸዋል፤ ጉንፋን ነው። እኔም ስለ ደረሰኙ ያልሁትን አነሣለሁ። ስለ ወንበሩ ያልሁትን አላነሣም።

ጡረተኛዋ ነርስ (ክፍል 3) — ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡20
ሁለት ቀን ሙሉ ስለ እሳቸው ስትጽፉ ማንም አልጠየቃቸውም፤ ስለዚህ ሄጄ ጠየቅኋቸው። መስኮቱማ ያለው ብርድ ነው አሉኝ። “ከዚህ ወንበር ላይ ግን ማንንም ሳልጠራ እነሣለሁ።” ስለ ሶፋው ሌላም ብለዋል፤ እሱን አልጽፈውም።
ሜትሩ ስላልነበረ ከነርሶች ክፍል ክር ወስጄ ለካሁ። የእንጨቱ ወንበር መቀመጫ ከወለሉ 46 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ክንድ የሚደገፍበትም ጠንካራ ነው። ሶፋው ሰው ሲቀመጥበት 34 ላይ ይሰምጣል፤ የክንዱም ቦታ ስፖንጅ ነው፣ ብትገፋው ይገባል። የእግር ጉልበት ለመለካት ሰው በሠላሳ ሴኮንድ ውስጥ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሣ የምንቆጥርበት ፈተና አለ፤ የእሱ ወንበር እንኳ 43 ገደማ ነው። ጉልበት ከዳሌ በላይ የሚሆንበት መቀመጫ ለሰማንያ ዓመት ሰው ጉድጓድ ነው።
አሁን ሳሎኑን አስቡት። ከቁርስ በኋላ ሶፋው ላይ ይቀመጣሉ፤ ለመነሣት ተንከባካቢ መጥራት አለባቸው፤ ጠዋት ያሉት ሁለት ናቸው። መጥራት ያፍራሉ። ሽንት ቤት ላለመጠየቅ ውሃ አይጠጡም፤ በዚህ ዕድሜ ጥሙ ራሱ በደንብ አይሰማም። እስከ ምሳ ፊታቸው ያለው ቴሌቪዥን ነው። ወደውት የሚያዩት መስሎን ነበር።

የክፍል 2 የልጅ ልጅ — ረቡዕ፣ ከሰዓት 8፡31
አያቴ ጠዋት ጠዋት ውሃ አልፈልግም የሚሉት ለዚህ ነው?

ሒሳብ ያዥ (ክፍል 14) — ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡00
ሶፋው ሲመረጥ ሴንቲ ሜትር የሚያውቅ ሰው የት ነበር? አሥራ አንድ አባል እጁን አውጥቶ አጽድቋል፤ ቃለ ጉባኤው አለ። ከአሥራ አንዱ አንዷ እርስዎ ነዎት።

ጡረተኛዋ ነርስ (ክፍል 3) — ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡06
ነኝ። የወደድሁት ቀለሙን ነበር።

የክፍል 6 ታላቅ ልጅ — ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡30
ከሶፋዎቹ እግር ሥር እንጨት ብናደርግስ? አሥር ሴንቲ ሜትር ቢነሡ ይበቃል፤ በጀትም አይነካም።

ሒሳብ ያዥ (ክፍል 14) — ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡32
በአዲስ ሶፋ እግር ሥር ጉማጅ እንጨት! እኔ በሕይወት እያለሁ አይሆንም።

ጡረተኛዋ ነርስ (ክፍል 3) — ረቡዕ፣ ከሰዓት 9፡45
ከፍ ማድረጊያው የሶፋውን እግር ይዞ የማይንሸራተት ካልሆነ እኔም አልስማማም። ከ65 ዓመት በላይ ካሉ ሰዎች ሲሦው ገደማ በየዓመቱ ይወድቃል፤ እኛ አንጨምርበት። ስፖንጁ መስመጡም አይቀርም። የሚሻለው ክንድ ያለው ጠንካራ ወንበር ነው፤ ቁመቱም የተለያየ ይሁን፤ አጭር ሰው እግሩ ከተንጠለጠለ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

የክፍል 11 የእህት ልጅ — ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡10
እንደ አክስቴ ወንበር ዓይነት ማለት ነው።

ሒሳብ ያዥ (ክፍል 14) — ረቡዕ፣ ከሰዓት 10፡12
እንደሱ አይደለም። ቀለም ያለው።

ጸሐፊ (ክፍል 9) — ሐሙስ፣ ምሽት 12፡40
ሁለተኛው ረቂቅ። አንደኛ፣ ክንድ ያላቸው ስድስት ወንበሮች፣ በሦስት ቁመት። ሁለተኛ፣ ሶፋዎቹ ወደ ጎብኚዎች መቀበያ ይዛወራሉ፤ እዚያ የሚቀመጡት እኛ ነን፣ እንነሣለን። ሦስተኛ፣ የአካል እንቅስቃሴው መሪ ስላልተገኘለት ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት ተላልፏል። አራተኛ፣ የአበባ ሳጥኑ “በፈቃደኛ አባል” ይሠራል። የጋዜጣ ንባቡ ቀድሞ ስለተጀመረ ገንዘብ አያስፈልገውም ብዬ አውጥቼዋለሁ፤ ቴሌቪዥን ማጥፋትም በጀት ስለሌለው አልገባም። የፎቶግራፉን ሰዓት ወደ 9 ልወስድ ስል ፎቶግራፎቹ የማን ዘንድ እንዳሉ አጣሁ። መስኮቱ ሥር ያለው ወንበር ባለበት ይቆያል፤ በስሙ ተጽፏል።

የክፍል 6 ታላቅ ልጅ — ሐሙስ፣ ምሽት 12፡58
ጠረጴዛዎቹስ? ዙሪያውን መቀመጡስ? የሐሳቡ ዋና ነገር እኮ እሱ ነበር።

ጸሐፊ (ክፍል 9) — ሐሙስ፣ ምሽት 1፡02
ገንዘቡ ወንበር ላይ አለቀ።

ሒሳብ ያዥ (ክፍል 14) — ሐሙስ፣ ምሽት 1፡15
ሶፋው መቀበያው ውስጥ ከገባ እስማማለሁ። እዚያ ያምራል።

ጡረተኛዋ ነርስ (ክፍል 3) — ሐሙስ፣ ምሽት 1፡20
“በሦስት ቁመት” ብሎ መጻፍ ብቻ አይበቃም። ነገ ጠዋት ነዋሪዎቹ ጫማቸውን እንዳደረጉ ከተረከዝ እስከ ጉልበት መለካት አለባቸው። በክር ሃያ ስምንት ሰው አልለካም።

ጸሐፊ (ክፍል 9) — ሐሙስ፣ ምሽት 1፡24
ሜትሩ ያለው አባል ነገ ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት ያምጣው።

የክፍል 2 የልጅ ልጅ — ሐሙስ፣ ምሽት 1፡31
ሜትሩ የክፍል 12 ልጅ ጋር ነው። ከሰኞ ወዲህ ያየው ሰው አለ?