አሮጌ ሃይሉክስን ለድንጋያማ ዳገት በግቢ ውስጥ ማዘጋጀት፦ ሥራውን ከየት ልጀምር?

የጅሬን ሥር፦

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ጅማ፣ ጅሬን ካለው ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ዝቅ ብሎ በሚገኘው ሰፈር ነው። አባቴ ለብዙ ዓመታት ቡና ሲያመላልስበት የነበረ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1993 የተሠራ ነጠላ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ግቢያችን ውስጥ ቆሟል። ሞተሩ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ ካምቢዮው ባለ አምስት ማርሽ ሲሆን፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስልና ባሌስትራ አለው። ለጭነት ሌላ መኪና ስላለን፣ ይህኛውን ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ የሚወጣ መኪና ላደርገው አስቤያለሁ። የብየዳ ማሽን አለኝ፣ ታናሽ ወንድሜም መካኒካል ምህንድስና ተምሯል፤ የጎደለኝ የሥራው ቅደም ተከተል ነው።

ሐሳቡ የመጣልኝ ባለፈው በጋ ሸቤ አካባቢ ወዳለው የዘመዶቻችን የቡና ማሳ ስሄድ ነው። ወንዙን ተሻግሮ የሚወጣውን መንገድ የክረምቱ ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ስለወሰደው፣ ጉልበት የሚደርስ ድንጋይ እንደ ደረጃ ተደራርቦ ቀርቷል። በሎው (መኪናውን አዘግይቶ ጉልበት በሚጨምረው ረዳት ማርሽ) አንደኛ ማርሽ ብገባም መኪናው ለድንጋዩ ፈጣን ሆነብኝ፤ ለማዘግየት ፍሪሲዮን እየረገጥኩ ስለወጣሁ ገና እኩሌታው ላይ ሳልደርስ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ሽታ ጋቢናውን ሞላው። በመጨረሻም አንድ የፊትና አንድ የኋላ ጎማ በሰያፍ አየር ላይ ተንጠልጥለው በከንቱ ሲሽከረከሩ፣ መሬት የያዙት ሁለቱ ቆመው ቀሩ። ከዚያ ቀደም ብሎ አንድ ጋራዥ መኪናው ከፍ እንዲል ብሎ በየባሌስትራው ላይ ሁለት ሁለት ቅጠል ጨምሮልኝ ስለነበር፣ ከፍታው ይረዳኛል ብዬ ነበር የገባሁት።

አሁን ሦስት ነገር አስቤያለሁ፦ ባሌስትራውን ከአክስሉ በላይ አዙሮ ማሰር፣ 33 ኢንች ጎማ መግጠም፣ የኋላውን ዲፈረንሻል በብየዳ መቆለፍ። የትኛው ይቅደም? ልምድ ያላችሁ ብትመክሩኝ በጣም አመሰግናለሁ።

ቶርኖ ቤት፦

ወንድሜ፣ ብረት ከመቁረጥህ በፊት መኪናው ሥር ገብተህ ተመልከት። የአንተ ሃይሉክስ ባሌስትራ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ከአክስሉ በላይ ነው የተቀመጠው። ባሌስትራን ከታች ወደ ላይ ማዞር እንደ ሱዙኪ ሳሙራይና እንደ ድሮው ላንድ ክሩዘር 40 ላሉ፣ ባሌስትራቸው ከአክስሉ ሥር ለሚያልፍ መኪኖች የሚሠራ ዘዴ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐሳብህ ለዚህ መኪና አያገለግልም።

የተጨመሩትን ቅጠሎች ግን ዛሬውኑ አውልቃቸው። ድንጋይ ላይ የሚፈለገው አንዱ ጎማ ወደ ላይ ሲገፋ ሌላው ወርዶ መሬት መፈለግ መቻሉ ነው፤ ቅጠል የተጨመረበት ባሌስትራ ደግሞ የሚተጣጠፈው ሁለት ሺህ ኪሎ ሲጫንበት እንጂ ባዶውን አይደለም። በሰያፍ የተንጠለጠሉብህ ጎማዎች ከዚህ የመጡ ናቸው። ሌላው ሰው የሚሳሳትበት ነገር የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም ነው፤ ጥቂት ከፍታ ይሰጣል፣ ነገር ግን የፊት አክስሉን ስለሚያዞረው መሪው ከታጠፈ በኋላ በራሱ መመለሱን ይተዋል፣ መኪናውም በአስፋልት ላይ መዋለል ይጀምራል። ከፍታ ከፈለግህ ረጅምና ቀጫጭን ቅጠል ያለው ባሌስትራ ፈልግ፣ ካልተገኘም በነበረው ቁመት ሥራ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አንተ ከፍታ አላነሰህም፤ ያነሰህ ዝግታ ነው። ድንጋይ የሚወጣ መኪና ከሌላው የሚለየው በጠቅላላ የማርሽ ሬሾው ሲሆን፣ ይህም የአንደኛ ማርሽ፣ የሎውና የዲፈረንሻል ሬሾ እርስ በርስ ሲባዙ የሚገኝ ቁጥር ነው። በእነዚህ መኪኖች ላይ ሎው 2.28 ነው። አንደኛ ማርሽህን 3.95፣ ዲፈረንሻልህን 4.10 አድርገን ብንወስድ ብዜቱ ወደ 37 ይመጣል፤ ትክክለኛውን የዲፈረንሻል ቁጥር በውስጡ ያሉትን የኮሮናውን (የትልቁን) እና የፒኞኑን (የትንሹን) ጥርስ ቆጥረህ ታገኘዋለህ። ሞተሩ በደቂቃ 750 ዙር እየዞረ፣ ዲያሜትሩ 73 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጎማ ብትሄድ በሰዓት 2.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለህ ማለት ነው። ለአስቸጋሪ ኮረኮንች ይበቃል፤ ጉልበት ለሚደርስ ድንጋይ ግን አይበቃም፣ ፍሪሲዮንህም የመሰከረው ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ 33 ኢንች ጎማ ብትገጥም ምን እንደሚከተል አስላ። የጎማው ዲያሜትር ወደ 84 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከዲፈረንሻሉ ሥር የምታገኘው ትርፍ የልዩነቱ ግማሽ፣ ማለትም 5.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ግን በዚያው ዙር ወደ 3.2 ኪሎ ሜትር ይጨምራል። ማርሹን ሳትነካ ጎማ ብታሳድግ፣ አስቸግሮሃል ያልከውን ነገር ራሱን አባባስከው ማለት ነው። የፍጥነት መለኪያውም ወደ 13 በመቶ አሳንሶ ስለሚያሳይ 50 ሲል በእውነቱ 57 ትሄዳለህ።

መፍትሔው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የፊትና የኋላ ዲፈረንሻልን ኮሮናና ፒኞን በ4.88 መለወጥ ሲሆን፣ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ በአራት ጎማ ስትነዳ መኪናው ከራሱ ጋር እየታገለ ይሰበራል፤ ይህ ለውጥም ቢሆን የትልቁን ጎማ ጉዳት ከማካካስ ብዙ አያልፍም። ሁለተኛውና የምመርጠው፣ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ከሚያከፋፍለው ረዳት ካምቢዮ በፊት የሌላ ሃይሉክስ ረዳት ካምቢዮን የመቀነሻ ክፍል ጨምሮ ማስገባት ነው። 37 እንደገና በ2.28 ሲባዛ ወደ 84 ይደርሳል፤ በ33 ኢንች ጎማም ቢሆን መኪናው በሰዓት 1.4 ኪሎ ሜትር ብቻ ይጓዛል፣ ይኸውም ከሽማግሌ እርምጃ ያነሰ ነው። የማገናኛ ሳህኑን ጥሩ ቶርኖ ያለው ሰው ሊያወጣልህ ይችላል። ሁለቱን የሚያያይዘውን ጥርስ ያለው ዘንግ ግን ከተገኘው ብረት አታስቆርጥ፤ በሙቀት ያልጠነከረ ብረት ጥርሱ በአንድ ዳገት ተልጦ ያልቃል። ክፍሉ ወደ ኋላ ስለሚገፋም የኋላው ካርዳን ያጥራል፣ የፊተኛው ይረዝማል፣ የካምቢዮው መቀመጫም ቦታው ይቀየራል።

ጎሚስታው፦

አባታችን ያሉት ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ገንዘብ የማያስወጣ ነገር ስለሆነ ከሁሉም በፊት ይሞከር፦ የጎማ ንፋስ ቀንስ። 35 ፒ.ኤስ.አይ የነበረውን ወደ 18 ስታወርደው ጎማው ድንጋዩን ተለጥጦ ያቅፈዋል፣ የሚነካው ስፋትም በግልጽ ይጨምራል። ነገር ግን ቸርኬህ ባለ ቀለበትና ካላማዳርያ የሚገባበት ከሆነ ተጠንቀቅ፤ ንፋሱ ሲያንስ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና የካላማዳርያውን ቫልቭ ከሥሩ ይቆርጠዋል። ያለ ካላማዳርያ የሚሠራ ቸርኬ ግዛ። እሱም ቢሆን ከ12 በታች ከወረደ ጎማው ከከንፈሩ ሊወጣ ይችላል። አስፋልት ላይ ከመድረስህ በፊት የምትሞላበት ትንሽ ኮምፕረሰር መኪናው ላይ ይኑር።

የጅሬን ሥር፦

ለሁለታችሁም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። ጋሼ ቶርኖ ቤት እንዳሉት ዛሬ ጠዋት ሥሩ ገብቼ አየሁት፤ ባሌስትራው በእርግጥም ከአክስሉ በላይ ነው፣ ይህን ሁሉ ዓመት ስነዳው አለማየቴ አሳፍሮኛል። የኋላውን ጥርስ ከወንድሜ ጋር ቆጥረን 41 በ10 አግኝተናል፤ ስለዚህ 4.10 ነው። ዲፈረንሻሉን በብየዳ ስለመቆለፍ ግን የመለሰልኝ የለም። ቸርኬዎቹም እንደተባለው ባለ ቀለበት ናቸው።

የጊቤ ማዶ፦

ስለ ብየዳው እኔ ልመልስ፤ የራሴን በይጄ ለሁለት ዓመት ነድቼዋለሁና። ያልተቆለፈ ዲፈረንሻል ለሁለቱም ጎማ የሚሰጠው ኃይል እኩል ነው፤ አንዱ አየር ላይ ከተንጠለጠለ ምንም ስለማይቋቋም፣ መሬት የያዘውም ጎማ ያንኑ ምንም የሚያህል ኃይል ብቻ ያገኛል። የውስጥ ጥርሶቹ ሲበየዱ ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ዘንግ ይዞራሉ፣ ድንጋይ ላይም ልዩነቱ የሚያስገርም ነው። ጉዳቱ የሚታየው ከተማ ስትገባ ነው፦ መርካቶ አካባቢ ባሉት ጠባብ መታጠፊያዎች ላይ ጎማው እየተንጫጫ ይፋቃል፣ መሪው ይከብዳል፣ አክስሉም ቀስ በቀስ ይጠማዘዛል። ከዚህ የባሰው የእኛ ቀይ አፈር ነው። በክረምት በተዘነበለ ጭቃ ላይ ሁለቱም የኋላ ጎማዎች እኩል ስለሚንሸራተቱ የመኪናው ጀርባ ወደ ገደሉ ይሳባል፤ ያልተቆለፈው ቢሆን አንዱ ጎማ እየዞረ ሌላው ይይዝህ ነበር። በዚህ ምክንያት መኪናው በክረምት መንገድ ላይ የሚወጣ ከሆነ አትበይድ፤ አንዳንድ ሃይሉክስ ከፋብሪካው በቁልፍ የሚቆለፍ የኋላ ዲፈረንሻል ስላለው አሮጌ ዕቃ ከሚሸጡ ሰዎች ዘንድ እሱን ማፈላለግ ይሻላል። የፊቱን ደግሞ ፈጽሞ አትበይድ። ከ84 ሬሾ ጋር ሆኖ መሪ ሙሉ በሙሉ ታጥፎ ጋዝ ከተሰጠ፣ የፊት ሲቪ ጆይንት (መሪ ሲታጠፍም ኃይሉን ለጎማው የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) እንደ ቆሎ ይሰበራል።

አንድ ነገር ማንም ስላላነሣው ላንሣ፤ ስለ ፍሬን ነው። ከኋላ አክስል ወደ ሻንሲው የሚሄድ ቀጭን ዘንግ ያለው ቫልቭ ታያለህ፤ መኪናው በጭነት ሲዘቅጥ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይሰጣል፣ ባዶ ሆኖ ሲነሣ ይቀንሳል። መኪናውን ከፍ ስታደርገው ቫልቩ ሁልጊዜ ባዶ እንደሆነ ስለሚቆጥር የኋላ ፍሬንህ ይደክማል። ጋራዡ ቅጠል ሲጨምርልህ ይህን አስተካክሎ ከሆነ እጠራጠራለሁ። የዘንጉን መያዣ በተነሣው ልክ ከፍ አድርገው። የፍሬን ጎማ ቱቦዎቹንም ለካ፤ ሾክ አብዞርቨሩን ፈትተህ በአንድ በኩል በክሪክ እያነሣህ አክስሉ እስከ መጨረሻው ሲወርድ ቱቦው ከተወጠረ፣ ዳገት ላይ ይበጠሳል ማለት ነው።

ቶርኖ ቤት፦

የጊቤ ማዶ የተናገረው ፍሬን ነገር ከእኔ ምክር ሁሉ መቅደም ነበረበት፤ ዘንግቼዋለሁ።

ስለ ብየዳ ጥቂት ልጨምር። ሻንሲ ስትበይድ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፍታ፣ የማሽኑን የመሬት ሽቦ ደግሞ ከምትበይድበት ቦታ አጠገብ እሰር፤ ራቅ አድርገህ ካሰርከው ኤሌክትሪኩ በኩሽኔታዎቹ ውስጥ አልፎ ይበላቸዋል። የሻንሲ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ቦታ አትፍጨው፣ አትበይደውም፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልተነበበ ለቦሎ ምርመራ ስትቀርብ ማስረዳት አትችልም። ጋቢናው ውስጥ የመገልበጫ መከላከያ ብረት ማስገባትህ አይቀርም፤ እሱን ከውኃ ቧንቧ እንዳትሠራው። የውኃ ቧንቧ ስፌቱ ላይ ይከፈታል፣ የተቀባው ዚንክም ሲበየድ ጭሱ ሰውን ያሳምማል። ስፌት የሌለው፣ ውፍረቱ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ 44 ሚሊ ሜትር ቱቦ ፈልግ፤ እግሩንም ላሜራው ላይ ሳይሆን ሻንሲው ላይ አሳርፈው።

ወንዝ ተሻግሬ ነው የምወጣው ስላልክ የዲፈረንሻሎቹን መተንፈሻ በቱቦ ወደ ሞተር ክፍል አውጣው። ሲነዳ የቆየ የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር በጎማ ማኅተሞቹ በኩል ውኃ ይስባል። ዘይቱን ስታወርደው ቡና በወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷል።

የጅሬን ሥር፦

ሁሉንም ጽፌ ይዣለሁ። ቅዳሜ የተጨመሩትን ቅጠሎች እናወልቃለን፣ የፍሬን ቫልቩን እንፈትሻለን፣ ከዚያ ያለ ካላማዳርያ በሚሠራ ቸርኬ ላይ አሁን ያለውን ጎማ ገጥሜ በ18 ንፋስ ያንኑ ዳገት እሞክረዋለሁ። ብየዳውን ትቼዋለሁ። ለሁለተኛው ረዳት ካምቢዮ የሚሆን የተሰበረ ሃይሉክስ አጋሮ ውስጥ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ጋሼ ቶርኖ ቤት፣ ሰውየው ዘንድ ስሄድ የመቀነሻ ክፍሉ ደህና መሆኑን ሳልፈታው የማውቅበት መንገድ ካለ ይንገሩኝ።

ቶርኖ ቤት፦

ዘይቱን በጨርቅ ላይ አፍስሰህ የብረት ቅንጣት ፈልግ። ቀጥሎ ሎው ውስጥ አስገብተህ መግቢያውን ዘንግ በእጅህ አዙር፤ መውጫው አንድ ዙር እስኪዞር መግቢያው ከሁለት ዙር ጥቂት ማለፍ አለበት። ዘንጉን ይዘህ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነቀንቀው ከተንቀሳቀሰ ኩሽኔታው አልቋልና ዋጋውን ከመነጋገርህ በፊት ለሰውየው አሳየው።