የግቢ በር ሞተር "እምምም" ይላል እንጂ አይነሳም፤ ሙሉውን ልቀይረው?

የሰሚቷ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምንኖረው ሰሚት ነው። በራችን በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት፣ ሙሉ ባለ 2 ሚሊ ላሜራ፣ አምስት ሜትር በሁለት ሜትር ተኩል ነው። ሞተሩ የጣሊያን ነው፣ በ220 ቮልት የሚሠራው ዓይነት፤ ጎኑ ላይ 600 ኪሎ ይላል። ክረምቱ ከገባ ወዲህ ሪሞቱን ስጫን "እምምም" ይልና ባለበት ይቀራል። እጄን ደገፍ ሳደርግበት ይሄድ ነበር፣ አሁን ግን እሱንም እምቢ ብሏል። የመጣው ባለሙያ ሽፋኑን እንኳን ሳይከፍት "ተቃጥሏል፣ አዲስ ግዢ" ብሎኝ ሄደ። ባለቤቴ ደግሞ ከነካነው አይቀር ባለባትሪውን እንግዛ ይላል፤ መብራት በሄደ ቁጥር በዝናብ ወርዶ በቁልፍ መፍታት ሰልችቶታል (የምወርደው ግን እኔ ነኝ)። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ኪያ፦
እኛ ነቅለን ጥለነው ዘበኛ ቀጠርን። ዘበኛ ሪሞት አይፈልግም 😄

ባለካቻቪቴ፦
እህቴ፣ ገና ምንም አትግዢ። የተቃጠለ ሞተር ወይ ብሬከር ይጥላል፣ ወይ ሽታው ይናገርበታል፣ ወይ ጭራሽ ድምፅ አያሰማም። "እምም" ብሎ ቆሞ እጅ ሲታከልበት የሚነሳ ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው፣ ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ኃይል የሚያጠራቅም ትንሽ ቆርቆሮ መሳይ ዕቃ። እንዳንቺ ያለው በአንድ ፌዝ የሚሠራ የበር ሞተር ያለ ካፓሲተር በራሱ መዞር አይጀምርም፤ ሲደክም የመነሻ ጉልበቱ ያልቃል፣ ሞተሩ ኃይል እየሳበ ቆሞ ይግላል። እንደዚያ ሆኖ ደጋግመሽ ከተጫንሽው ግን እውነትም ይቃጠላል፣ ስለዚህ ሪሞቱን ተይው። (ቢቃጠል እንኳ የሞተር ሽቦ እንደገና የሚጠመጥም ባለሙያ ጋ ይወሰዳል እንጂ ወዲያው አይጣልም። ሽፋን ሳይከፍት "አዲስ ግዢ" የሚል ሰው ሻጭ ነው እንጂ ጠጋኝ አይደለም።)

ካፓሲተሩን ከመቀየርሽ በፊት ግን በሩን ፈትሺው። ብሬከሩን አጥፊ፣ በቁልፉ ሞተሩን ፍቺና በሩን ከዳር እስከ ዳር በአንድ እጅ ግፊው። ለስለስ ብሎ ከሄደ ችግሩ ሞተሩ ጋ ነው። የሆነ ቦታ ላይ ከያዘሽ ግን አዲስ ሞተር ብትገዢም ያኛውም ተመሳሳይ ዕጣ ይገጥመዋል። ባለ 2 ሚሊ ላሜራ በካሬ ሜትር ወደ 16 ኪሎ ይመዝናል፤ ያንቺ በር 12 ካሬ ተኩል ስለሆነ ላሜራው ብቻ 200 ኪሎ ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ቱቦላሬውና ጌጡ ሲጨመር ወደ 300 ይጠጋል። ሞተሩ ላይ የተጻፈው 600 ሮለሩ (ከበሩ ሥር ሐዲዱ ላይ የሚሄደው ጎማ) ሲንከባለል ነው። ሮለሩ ከቆመና በሩ ከተጎተተ ቁጥሩን እርሺው።

ሌላው፦ በሩ ላይ የታሰረው ረጅሙ ጥርስና የሞተሩ ክብ ጥርስ መሃል አንድ ወይም ሁለት ሚሊ ክፍተት መኖር አለበት፣ በመላው ርዝመቱ። ሁለት የኤቲኤም ካርድ ደርበሽ ሞክሪው። ካልገባ በሩ ሞተሩ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

ባለባትሪውን በተመለከተ ባለቤትሽ አልተሳሳተም፤ መብራት ለሚሄድበት ሰፈር እኔም የምመርጠው እሱን ነው። እንደ ደቡብ አፍሪካው ሴንቱሪዮን ዲ5 ያሉት ከመጀመሪያውም የሚሠሩት በባትሪ ነው፣ መብራቱ ባትሪውን ብቻ ይሞላል። በ24 ቮልት የሚሠሩት ደግሞ አብዛኞቹ መጠባበቂያ ባትሪ ይቀበላሉ፣ ግን ባትሪው ከነካርቶኑ አብሮ መኖሩን ሳታረጋግጪ ገንዘብ አትክፈዪ፤ ብዙ ጊዜ ለብቻው ነው የሚሸጠው። ባዶ ሆኖ የከረመ ባትሪም ቶሎ ይሞታል።

የሰሚቷ፦
ፈታሁት። ግማሽ ድረስ ደህና ሄደ፣ ከዚያ ያዘኝና በትከሻዬ ነው ያለፈው። በስልክ መብራት ሳየው የኋላው ሮለር አይዞርም፤ አንድ ጎኑ ተበልቶ ጠፍጣፋ ሆኗል፣ ሐዲዱ ላይ ደግሞ ጭቃው ደርቆ እንደ ሲሚንቶ ነው። በዚያ በኩል በሁለቱ ጥርሶች መሃል ካርድ ቀርቶ ወረቀትም አይገባም። ሽፋኑን ባለቤቴ ከፈተው፦ ካፓሲተሩ 16 ማይክሮፋራድ ይላል፣ አናቱ አብጧል።

ባለካቻቪቴ፦
በቃ፣ ታሪኩ ግልጽ ነው። የሮለሩ ኩሽኔታ ውሃ ገብቶት ዝጎ ቆመ፣ ሮለሩ ተበላ፣ በሩ ወረደ፣ ክብደቱ ሞተሩ ጥርስ ላይ አረፈ፣ ካፓሲተሩ ደከመ።

መጀመሪያ ሮለሮቹን ቀይሪ፣ ሁለቱንም። የድሮውን ነቅለሽ መርካቶ ይዘሽው ሂጂ፤ የጎድጓዱ ቅርፅ ከሐዲድሽ ጋር መግጠም አለበት፣ በዓይን ግምት አይገዛም። በሩ በክሪክ ሲነሳ ከላይ ከመሪው እንዳይወጣ ሁለት ሰው ደግፎ ይያዘው፣ ልጅ አጠገቡ እንዳይቆም። 300 ኪሎ ነው የሚወድቀው። በያጅ ካስፈለገ የሞተሩ ብሬከር ይጥፋ፣ ሽቦዎቹም ከቦርዱ (ሞተሩን ከሚያዘው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) ይነቀሉ፤ የብየዳው ኃይል ቦርድ ይገድላል።

ከዚያ ካፓሲተሩን፦ 16 ከሆነ 16፣ ቮልቱ 450። "20 አድርጊው ጉልበት ይጨምራል" የሚልሽን አትስሚ፣ የሚጨምረው ሙቀት ነው። ብሬከሩ ቢጠፋም ካፓሲተር ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል እግሮቹን በባዶ እጅ እንዳይነካ ንገሪው። ሐዲዱን ጥረጉ፣ ግሪስ ግን አትቀቡት፤ አሸዋ ይሰበስባል።

ከሜሪላንድ፦
እኔም እዚህ አሜሪካ በዚሁ ሥራ ላይ ነኝ። ዩኤል 325 የሚባለው የበር ሞተር ደህንነት ደንብ ከ2016 (በፈረንጅ) ወዲህ ጠብቋል፤ ሰው እንዳይያዝ የሚከላከለው መሣሪያ፣ ፎቶሴልም (መንገዱ ላይ ሰው ወይም ዕቃ ሲኖር በጨረር የሚያውቀው ጥንድ ዓይን) ይሁን ጠርዙ ላይ ያለው ሲነካ የሚያውቅ ጎማ፣ ከተበላሸ ወይም ካልተገናኘ ቁልፉን አንዴ ተጭነው ቢለቁት በሩ አይሄድም። አገር ቤት ስመጣ ግን ፎቶሴሉ ሲያስቸግር በሽቦ አገናኝተው ያለፉት አያለሁ። እህታችን፣ ያንቺን እዩት።

የሰሚቷ፦
ኧረ እውነትህን ነው፣ የእኛም አንዱ ከወደቀ ቆይቷል! ሁለት ትናንሽ ልጆች አሉኝ። ሮለሩን የሚቀይረው ሰው እሱንም ሊያስተካክለው ይችላል?

ባለካቻቪቴ፦
ይችላል፣ ቀላል ሥራ ነው። ሁለቱ ዓይኖች ፊት ለፊት ይተያዩ፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ገደማ ከፍ ይበሉ፣ መስታወታቸው ላይ ያለው ጭቃና የሸረሪት ድር ይጠረግ። በሩ እየተዘጋ ሳለ መሃል ላይ ካርቶን አስገብታችሁ ፈትኑት፤ ወዲያው ቆሞ ካልተመለሰ ሥራው አላለቀም፣ ሂሳብ አትክፈዪ። አዲሶቹ ሮለሮች በሩን ከፍ ስለሚያደርጉት ጥርሱ እንደገና በክፍተት ይታሰራል፣ ሊሚቱም (በሩ የት እንደሚቆም ለሞተሩ የሚነግረው) ቦታውን ስለሚስት እሱንም አብሮ ያስተካክለው። አለዚያ በሩ መጨረሻው ላይ ሲደርስ አይቆምም፣ መግቻውን እየመታ ይገፋል።