የእናቴ አጥንት ሳስቷል ተባለ፤ ከሆድ ባክቴሪያ ጋር ምን አገናኘው?

ጠያቂ፦ ሰላም ወገኖች። የምንኖረው አዳማ ነው። እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ባለፈው ወር በረንዳ ላይ አዳልጧት ወደቀችና የእጅ አንጓዋ ተሰበረ። ሐኪሙ «አጥንቷ ሳስቷል» አለን። ለጨጓራዋ ኦሜፕራዞል መውሰድ ከጀመረች 4 ዓመት አልፏል። አንቲባዮቲክም ደጋግማ ወስዳለች። አንድ ዘመዳችን «የአንጀቷ ባክቴሪያ ተዛብቶ ነው፣ ፕሮባዮቲክ የሚባለውን፣ ጠቃሚ ባክቴሪያ ያለበትን ግዙላት» አለ። ዋጋው አይቀመስም። ልግዛላት?

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ዘመድሽ ከመሬት ተነስቶ አላወራም። የአንጀት ባክቴሪያ የእህልና የአትክልት አሰር ሲያብላላ ቡቲሬት የሚባል ነገር ያወጣል። አይጦች ላይ እንደታየው ይሄ ነገር አጥንት የሚያፈርሱትን ሴሎች ያረግባል። ባክቴሪያው ሲዛባ ይሄ ይጓደላል። ሰው ላይ ግን ነገሩ ገና አልጠራም። በ2018 በወጣ የስዊድን ጥናት፣ ከ75 እስከ 80 ዓመት የሆናቸው ሴቶች ላክቶባሲለስ ከሚባለው የፕሮባዮቲክ ባክቴሪያ አንዱን ዓይነት ለ1 ዓመት ወስደው የአጥንታቸው መሳሳት ቀንሶ ነበር። በኋላ በቅርቡ ያረጡ ከ200 በላይ ሴቶች ያንኑ ለ2 ዓመት ወሰዱ፤ ለውጥ አልታየም። ስለዚህ ብሩን ለአጥንት መለኪያው ምርመራ፣ ለዴክሳ፣ ያዙት።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ኦሜፕራዞሉ ነው። እንዲህ ያለውን መድኃኒት ለዓመታት መውሰድ ከስብራት ጋር እንደሚያያዝ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2010 አስጠንቅቋል። ግን በራሳችሁ እንዳታቆሙት! በድንገት ሲቋረጥ አሲዱ ብሶበት ይመለሳል። ሐኪሙን ጠይቁ።

የወንጂ ልጅ፦ እናትሽ ያደጉት የት ነው? በእኛ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ፣ ሲበዛ ጥርስና አጥንት የሚጎዳው ፍሎራይድ ይበዛበታል። አባቴ ወገቡ ግትር ብሎ የቀረው በዚሁ ነው። ጥርሳቸው ቡናማ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው። ውኃውን ማፍላት ደግሞ አይጠቅምም፤ እንፋሎቱ ሲሄድ ፍሎራይዱ ይቀራል።

እናት ዓለም፦ እኔ እናቴን የማጠጣት እርጎ ነው። ካልሲየምም ሕያው ባክቴሪያም አለው። ግን ወተቱን መጀመሪያ አፍይው፤ ለብ ሲል አንድ ማንኪያ እርጎ ጣይበት። ጥሬ ወተት ብሩሴላና ቲቢ ያመጣል። በጾም ጊዜ ጎመንና ሰሊጥ አብዢላቸው። የበረንዳውንም ነገር አደራ፤ የሚያዳልጠውን ምንጣፍ አንሺው፣ ሌሊት መብራት ተዪላቸው። ሁለተኛ እንዳይወድቁ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው ወንጂ ነው፤ ጥርሷም እንዳላችሁት ነው። ለሰኞ ቀጠሮ አለን። የኦሜፕራዞሉን ፓኬት ይዤ እሄዳለሁ።