ሐኪም ሆኖ መጥቶ ሐኪም ሆኖ መቀጠል፦ ከሜሪላንድ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጡ ምላሾች

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)

ጤና ይስጥልን። በ2010 ዓ.ም አገር ቤት በጠቅላላ ሐኪምነት ተመርቄ በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ቀጥሎም በአንድ የዞን ከተማ ሆስፒታል ለበርካታ ዓመታት ካገለገልሁ በኋላ፣ በባለቤቴ በኩል ግሪን ካርድ አግኝቼ ወደ ሜሪላንድ መጥቻለሁ። አሁን በአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ የሌሊት ሺፍት እሠራለሁ፤ ቀን ደግሞ ሕፃን ልጃችንን የምይዘው እኔ ነኝ። ገና ከመምጣቴ ጀምሮ የምሰማው ምክር ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዶች የሕክምና ፈቃድ ፈተናውን ሳልውል ሳላድር እንድጀምር ሲያሳስቡኝ፣ ሌሎች ዕድሜዬን በፈተና ከምፈጅ ነርሲንግ ተምሬ ኑሮዬን እንዳቃና ይመክሩኛል። በዚህ ላይ እዚሁ የሚሠሩ ሐኪሞች ራሳቸው በሥራቸው ተማርረዋል ሲባል እሰማለሁ። መንገዱን ያለፋችሁበት ሳትሸፋፍኑ ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ምላሽ (የውስጥ ደዌ ሐኪም፣ ከቨርጂኒያ)

ዶክተር፣ ጥያቄዎን በሚገባ ስላቀረቡ እኔም በግልጽ እመልሳለሁ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ሲወራ ሁሉም ነገር በፈተናው ዙሪያ ይሽከረከራል፤ «እገሌ ስቴፕ ዋንን (የመጀመሪያውን የፈቃድ ፈተና) አለፈ» ከተባለ ነገሩ ያለቀለት ይመስለናል። ማነቆው ያለው ግን ከፈተናው ቀጥሎ፣ ሬዚደንሲ ላይ፣ ማለትም ሐኪሙ በሆስፒታል እየሠራ በሚሠለጥንበት ደረጃ ላይ ነው። ስለዚህ ዕቅድዎን ሬዚደንሲ ከሚጀመርበት ወር ወደ ኋላ እየቆጠሩ ቢያወጡት ይሻላል።

የፈተናው ነገር በአጭሩ ይህን ይመስላል። ከውጭ አገር የተመረቀ ሐኪም ሬዚደንሲ ለመግባት ከውጭ የተመረቁ ሐኪሞችን ማስረጃ የሚያረጋግጠው ተቋም፣ የኢሲኤፍኤምጂ፣ ሰርተፊኬት ያስፈልገዋል፤ ለዚያም ስቴፕ ዋንን፣ ሁለተኛውን ፈተና ስቴፕ ቱ ሲኬን፣ ኦኢቲ የሚባለውን የሕክምና እንግሊዝኛ ፈተና ማለፍና ዲግሪው በተማረበት ትምህርት ቤት በኩል መረጋገጥ አለበት። ስቴፕ ዋን እ.ኤ.አ. ከጥር 2022 ጀምሮ ነጥብ የሌለው፣ አለፈ ወይም ወደቀ ብቻ የሚባልበት ፈተና ሆኗል። በዚህ ምክንያት ፕሮግራሞች አመልካቾችን የሚያወዳድሩበት ነጥብ የስቴፕ ቱ ሆኖ ስለ ቀረ፣ የንባብ ጉልበትዎን ለዚያ ያስቀምጡ። ልብ ይበሉ፣ ለሰርተፊኬቱ የሚጠየቁት ስቴፖች በሰባት ዓመት ውስጥ መጠናቀቅ አለባቸው፤ አንዱን ካለፉ በኋላ ሌላውን «ልጁ ከፍ ሲል» ብሎ ማቆየት ያለፈውንም ሊያስጥል ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ማች፣ ማለትም አመልካቾች ለሬዚደንሲ ፕሮግራሞች የሚደለደሉበት ሥርዓት፣ የሚመጣው። የአሜሪካ ዜግነት የሌላቸው፣ ከውጭ የተመረቁ አመልካቾች ቦታ የሚያገኙት በቅርብ ዓመታት ከአሥሩ ስድስቱ ያህል ናቸው። የቀሩት አራቱም አብዛኞቹ ፈተናቸውን ያለፉ፣ ገንዘባቸውንና እንቅልፋቸውን የከፈሉ ሰዎች መሆናቸውን አይርሱ። ሰው የሚገረመው አገሪቱ ሐኪም አጣሁ እያለች ይህ ለምን ይሆናል በሚለው ነው። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ትንበያ፣ በ2036 እስከ 86,000 የሚደርስ የሐኪም እጥረት ሊኖር እንደሚችል አስታውቋል። ነገር ግን ለሬዚደንት ማሠልጠኛ ከሚወጣው ገንዘብ ከፍተኛውን ድርሻ የሚሸፍነው ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ሲሆን፣ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የበጀት ሕግ ሜዲኬር ለየሆስፒታሉ የሚከፍልባቸውን የሠልጣኞች ቁጥር ባለበት እንዲቆም አደረገው። ከዚያ ወዲህ በ2020 መጨረሻ የጸደቀው ሕግ 1,000 ቦታዎችን፣ በዓመት ከ200 ሳይበልጥ እንዲጨመሩ ፈቀደ። ሆስፒታሎች በራሳቸው ገንዘብ የሚከፍቷቸው ቦታዎች መኖራቸው እውነት ቢሆንም፣ የጎደለው ሐኪም የመሆን ችሎታ ያለው ሰው ሳይሆን ሠልጥኖ ፈቃድ የሚያገኝበት ወንበር መሆኑ አያጠያይቅም።

የእርስዎ ትልቁ ፈተና ከተመረቁ ያለፈው ጊዜ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች ከምረቃ ወዲህ አምስት ዓመት ያለፈውን ማመልከቻ ሳይከፍቱ በኮምፒዩተር አጣርተው ያስቀሩታል። ይህ እጅግ አድሎአዊ አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ፤ በዞን ሆስፒታል ዲዩቲ ገብታ የወሊድ ደም መፍሰስንም፣ የሕፃናት የሳምባ ምችንም፣ የመኪና አደጋንም በአንድ ሌሊት ያስተናገደች ሐኪም ልምዷ እንደ ጉድለት ሊቆጠርባት አይገባም ነበር። ሆኖም ማጣሪያው ስላለ፣ ማጣሪያውን የማይጠቀሙትን ፕሮግራሞች ለይቶ ለእነርሱ ማመልከት ገንዘብ ያድናል። የውስጥ ደዌ፣ የቤተሰብ ሕክምናና የሕፃናት ሕክምና ለእኛ ሰው በአንጻራዊነት ክፍት ናቸው፤ ከትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ይልቅም የማኅበረሰብ ሆስፒታሎች የተሻለ ተስፋ ይሰጣሉ።

እዚህ አገር ካለ ሐኪም ጋር የሠሩበት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልግዎታል። በዚህ ጉዳይ ላይ «ሮቴሽን (ከሐኪም ጋር የሚደረግ የሥራ ልምምድ) እናገኝልዎታለን» እያሉ በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚቀበሉ ደላሎች ስለ በዙ፣ ከመክፈልዎ በፊት ደብዳቤውን የሚጽፈው ማን እንደሆነ፣ ያ ሰው በሬዚደንሲ ፕሮግራም ውስጥ ያስተምር እንደሆነና በሽተኛ መንካት ይፈቀድልዎት እንደሆነ ይጠይቁ። እንደ ዕቃ ጥግ ላይ ቆሞ መመልከት ብቻ ከሆነ በነጻም ይገኛል። አሁን ያሉበትን የሌሊት ሥራ ግን በሚቻልዎት ፍጥነት ወደ ክሊኒክ ረዳትነት፣ ወደ ሐኪም ጸሐፊነት ወይም ወደ ክሊኒካል ምርምር ረዳትነት ቢቀይሩት፣ የሚያገኙት ክፍያ ባይጨምርም ከሐኪሞች ጋር ያውልዎታል።

ዲግሪን በተመለከተ፣ አገር ቤት የወጪ መጋራትና የአገልግሎት ግዴታ ካልተዘጋ ዋናውን ሰነድ ማውጣት አስቸጋሪ እንደሆነ ያውቃሉ። ኢሲኤፍኤምጂ ማረጋገጫውን የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱን በቀጥታ ስለሆነ፣ ሬጅስትራር ቢሮ በአካል ሄዶ የሚከታተል የቅርብ ሰው ያዘጋጁ። ጥያቄው ሳይመለስ ወራት ሊያልፉ ይችላሉ።

አሁን ወደ መጨረሻው ጥያቄዎ፣ ስለ ሥራው ልምጣ። ሬዚደንሲ በሳምንት እስከ 80 ሰዓት ይሠራበታል፤ ይህም በአራት ሳምንት አማካይ የሚሰላ ጣሪያ ነው። አገር ቤት ኢንተርን ለነበረ ሰው አያስደነግጥም፤ የሚከብደው እናትና አክስት በሌሉበት ከተማ ሕፃን ይዞ መሥራቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ምሬት ግን ሌላ ዓይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት እንዳሳየው፣ ሐኪሙ ከበሽተኛ ጋር ለሚያሳልፈው እያንዳንዱ ሰዓት ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ በኮምፒዩተርና በጽሕፈት ሥራ ላይ ያጠፋል። የአገሪቱ ዋና የጤና ኃላፊ የነበሩት ቪቬክ ሙርቲም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ስለ ጤና ባለሙያዎች መዛል በይፋ ማስጠንቀቂያ አውጥተው ነበር።

በእኔ ክሊኒክ ይህ ምን እንደሚመስል ላስረዳዎት። አንዲት የስኳር ሕመም ያለባቸው እናት በሁዳዴ ወቅት ራሳቸውን ስተው ድንገተኛ ክፍል ገብተው ከወጡ በኋላ ወደ እኔ መጡ። ግሊመፒራይድ የሚባለውን ስኳር የሚያወርድ መድኃኒት ጠዋት ጠዋት ይውጣሉ፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ደግሞ እህል ውኃ አይቀምሱም። ኮምፒዩተሩ ሲጋራ ያጨሳሉ ወይ፣ ወድቀው ያውቃሉ ወይ፣ ቤት ውስጥ ያዝናሉ ወይ እያለ አንድ ገጽ ሙሉ ያስጠይቀኛል፤ «እስከ ስንት ሰዓት ይጾማሉ?» የሚለውን ግን በየትም ቦታ አይጠይቅም። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ጥያቄ አንድ፣ የሚያስፈልገው ጊዜም ሁለት ደቂቃ ነበር። መድኃኒቱን በጾም ጊዜ ስኳርን በዚህ መጠን ወደማያወርድ ሌላ መድኃኒት ልቀይረው ስል፣ ኢንሹራንሱ ቅድመ ፈቃድ ጠየቀ፤ ርካሹ መድኃኒት ተሞክሮ እንዳልሠራ ማስረጃ ይቅረብ አለ። ማስረጃው ሴትዮዋ ራሳቸው ነበሩ። የምሳ ሰዓቴን ስልክ ጨብጬ፣ ሙዚቃ እየሰማሁ አሳለፍሁትና መጨረሻ ላይ ተፈቀደ። ይህ ደግሞ በየቀኑ የሚደርስ ነው እንጂ ልዩ አጋጣሚ አይደለም።

ታዲያ እኔ ሥራዬን እተዋለሁ ወይ ካሉኝ አልተውም። ነገር ግን ነጭ ጋዋኑን ብቻ እያሰቡ ሳይሆን ይህንንም አውቀው ይግቡበት። ለሌሎች አንባቢዎች ስል አንድ ነገር ልጨምር፦ ግሪን ካርድ የሌለው ሐኪም ጄ ዋን በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ከገባ የአገሩ ጤና ሚኒስቴር የሚጽፍለት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገዋል፣ ሲጨርስም ሁለት ዓመት አገሩ መቆየት ወይም ሐኪም በጎደለበት አካባቢ ለማገልገል ተስማምቶ ከግዴታው መውጣት አለበት። ቴነሲ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ከዚያም ሌሎች ግዛቶች፣ ከውጭ የመጡ ልምድ ያላቸው ሐኪሞች የአሜሪካን ሬዚደንሲ ሳይደግሙ በቁጥጥር ሥር እንዲሠሩ የሚፈቅዱ ሕጎችን ማውጣት ጀምረዋል። ቀጣሪ ሆስፒታልንና የግዛቱን መመዘኛ ማሟላት ስለሚጠይቁ አሁን ዕቅድዎን በእነርሱ ላይ አይጣሉ፤ ይከታተሏቸው እንጂ።

ምላሽ (ነርስ፣ ከሚኒሶታ)

ዶክተሩ የጻፉትን በአክብሮት አንብቤያለሁ። በጥያቄው ውስጥ ያለውን «ነርሲንግ ተምሮ ኑሮን ማቃናት» የሚለውን ግን እኔ እንደ ነርስ ላርመው እወዳለሁ። ብዙ የአገራችን ሐኪሞች ነርሲንግን እንደ መሸሸጊያ ቆጥረው ገብተው፣ አንደኛውን ዓመት ሳይጨርሱ ቅር ሲላቸው አይቻለሁ፤ ከሁለት ያጣ ይሆናሉ። ሙያው የራሱ አስተሳሰብና የራሱ ኃላፊነት አለው፤ ትእዛዝ የመስጠት ልማድ ላለው ሰው ደግሞ ትእዛዙን ተቀብሎ፣ ስሕተት ካየ በአግባቡ መጠየቅ ቀላል ሽግግር አይደለም።

ይህን ካወቁ በኋላ መንገዱ ግልጽ ነው። ዲግሪ ላላቸው ሰዎች የተዘጋጁት የተፋጠኑ ፕሮግራሞች ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃሉ፤ የውጭ ትራንስክሪፕትዎ ተገምግሞ የአናቶሚና የማይክሮባዮሎጂ ኮርሶችዎ ተቀባይነት ያገኙ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ አለዚያ ከመግባትዎ በፊት ሁለት ሴሚስተር ይጨመርብዎታል። ከዚያ ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ይወስዳሉ። ሥራ አያጡም።

ስለ ድካም ከተነሣ ግን የእኛም አይተናነስም። የ12 ሰዓት ሺፍት ማለት ርክክቡ ሲጨመር 13 ሰዓት ማለት ነው። ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ አንድ ነርስ የሚይዘውን የሕሙማን ቁጥር በሕግ ወስናለች፤ በተለመደው የሕክምናና የቀዶ ሕክምና ዋርድ ለአንድ ነርስ ከአምስት በሽተኛ አይበልጥም። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ሕግ ስለሌለ፣ ሰው የቀረ ሌሊት ሰባትም ስምንትም እንይዛለን። ሥራ ሲፈልጉ የሰዓት ክፍያውን ብቻ ሳይሆን «በሌሊት ለአንድ ነርስ ስንት በሽተኛ ይሰጣል?» ብለው በቃለ መጠይቁ ላይ ይጠይቁ። መልሱን የሚያድበሰብስ ቀጣሪ መልስ ሰጥቶዎታል።

ምላሽ (ጠቅላላ ሐኪም፣ ከአዲስ አበባ)

ይህን ውይይት ከአገር ቤት ሆኜ ስለማነብ ጥቂት ልበል። እኅታችን በመሄዳቸው የሚወቅስ ካለ እኔ አልወቅስም። በ2004 ዓ.ም መንግሥት በ13 ተቋማት አዲስ የሕክምና ትምህርት ሲጀምር ዓላማው የሐኪሙን ቁጥር በፍጥነት ማብዛት ነበር፤ ቁጥሩም በዝቷል። ይሁን እንጂ ቅጥሩና ደመወዙ አብሮ ስላልሄደ፣ በሽተኛ ወረፋ በሚጠብቅበት አገር ሥራ የሚፈልግ ሐኪም ማየት ጀመርን። በግንቦት 2017 ዓ.ም የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ አንሥተው ሥራ እስከ ማቆም መድረሳቸውን፣ በዚያም ምክንያት የታሰሩ መኖራቸውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ከእኔ ጋር የተመረቁት ባሉበት የውይይት ቡድናችን ላይ ዛሬ የሚወራው ስለ በሽተኛ ሳይሆን ስለ ስቴፕ፣ ስለ ፕላብ (የእንግሊዝ የሐኪሞች ፈተና) እና ቢ ቱ ስለሚባለው የጀርመንኛ ቋንቋ ደረጃ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 የጤና ባለሙያ እጥረታቸው የከፋ ብሎ በዘረዘራቸው 55 አገሮች ውስጥ ኢትዮጵያ አለችበት። እንግሊዝ ይህን ዝርዝር ተከትላ፣ አሠሪዎቿ ወደነዚህ አገሮች ሄደው እንዳይመለምሉ ከልክላለች፤ ግለሰቡ በራሱ ተነሣስቶ ከማመልከት ግን አይከለከልም። እኔ እንደሚመስለኝ እንዲህ ያለው ክልከላ የሚሄደውን አያስቀረውም፤ ሆስፒታሉ ለሚቀረው ጓንት፣ ኦክስጅንና በወቅቱ የሚከፈል የዲዩቲ ክፍያ ቢያቀርብ ይሻላል። እዚያ ያላችሁ ስፔሻሊስቶች ደግሞ አልፎ አልፎ ከሚመጣ የአንድ ሳምንት የበጎ ፈቃድ ጉዞ ይልቅ፣ በወር አንድ ምሽት በቪዲዮ ከሬዚደንቶቻችን ጋር ከባድ ኬዝ ብትወያዩ በጣም ይጠቅመናል። ሰዓቱን እኛ እናመቻቻለን።

ተጨማሪ ምላሽ (የውስጥ ደዌ ሐኪሙ፣ ከቨርጂኒያ)

ለአዲስ አበባው ወንድማችን፦ የቪዲዮውን ሐሳብ ከሙያ ጓደኞቼ ጋር ተነጋግሬ በግል እጽፍልዎታለሁ።

ለእኅታችን፦ በመጀመሪያ ምላሼ ላይ ከሬዚደንሲው ወር ወደ ኋላ ይቁጠሩ ያልሁት ይህን ነው። ሬዚደንሲ የሚጀምረው በሐምሌ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆች ጁላይ 1 አካባቢ ነው። የማች ውጤት በመጋቢት ይወጣል፤ ቃለ መጠይቁ ከጥቅምት እስከ ጥር ይካሄዳል። ፕሮግራሞች ማመልከቻ መመልከት የሚጀምሩት በመስከረም መጨረሻ ስለሆነ፣ የስቴፕ ቱ ውጤትዎና ደብዳቤዎችዎ ከዚያ በፊት መግባት አለባቸው፤ ዘግይቶ የሚሞላ ማመልከቻ ቢታይም ቦታው ካለቀ በኋላ ይሆናል። ልጅ ይዘው፣ ሌሊት እየሠሩ ለሚቀጥለው መስከረም መድረስ ካልቻሉ ለቀጣዩ ዓመት ያቅዱ፤ ነገር ግን የዲግሪውን ማረጋገጫ ዛሬውኑ ያስጀምሩ፣ እርሱ የእርስዎን ንባብ አይጠብቅም። ከባለቤትዎ ጋርም ከሥራ ሰዓትዎ ምን ያህሉን መቀነስ እንደምትችሉ፣ ለስንት ወርስ እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ በወረቀት ላይ አስሉት። የእያንዳንዱ ስቴፕ ክፍያ ብቻ አንድ ሺህ ዶላር ገደማ ነው፤ ማመልከቻው ደግሞ በፕሮግራሙ ቁጥር ልክ ይጨምራል።