ደጀን ቆሜያለሁ፤ በዚህ ዝናብ አባይን ልውረድ?

የጮቄ ልጅ (ጠያቂ)
እንደምን ዋላችሁ። ቶሎ የምትመልሱልኝ ካላችሁ እባካችሁ። ደጀን ነው የቆምኩት። እናቴ አብራኝ አለች፣ ነገ ጠዋት 2 ሰዓት አዲስ አበባ የዓይን ቀጠሮ አላት። የያዝኩት የወንድሜን ቢኤምደብሊው ነው። ኢ46፣ ባለ ሁለት በር፣ ማንዋል፣ በኋላ ጎማ የሚገፋ። ሉማሜን እንዳለፍን ዝናቡ ጀመረ፣ ኋላው ሁለቴ ሸሸብኝ። በሁለተኛው መኪናው አግድም ዞሮ ነው የቆመው። እናቴ «ልጄ፣ ይሄ መኪና ጭራውን ይቆላል እኮ» አለችኝ። ለእሷ ብዬ ሳቅሁ እንጂ እጄ እስካሁን ይንቀጠቀጣል። ዳሽቦርዱ ላይ ደግሞ ቢጫ ባለ ሦስት ማዕዘን መብራት በርቷል። ጎማው ደህና ነው፣ አይቼዋለሁ። ልውረድ ወይስ ምን ላድርግ?

የአባይ ሹፌር
አይዞህ ልጄ። እኔ በጭነት መኪና 22 ዓመት ወጥቼ ወርጄበታለሁ። ከደጀን ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እስከ ድልድዩ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። እግርህን ፍሬን ላይ ጭነህ ከወረድክ ግማሽ ሳትደርስ ፍሬኑ ይግላል፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ይሸትሃል፣ ከዚያ በኋላ ብትረግጠውም አይይዝም። የድሮ ሹፌሮች በምትወጣበት ማርሽ ውረድ ይሉን ነበር። አስፋልቱም መሬቱ እየተንሸራተተ የተሰነጠቀና የተንሻፈፈ ቦታ አለው፣ በክረምት ናዳም ይወርድበታል። ጉም ከያዘው ደግሞ ከፊትህ ያለውን መኪና ጭራ አታይም። የዛሬ ልጆች ማርሽ ለመውጣት ብቻ የተሠራ ይመስላችኋል። ሁለተኛ አስገባ፣ ፍሬንህን አሳርፈው።

ካልጋሪ ነኝ
ወንድሜ፣ እዚህ ብርድ ሲገባ እንዲህ ያለ መኪና ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው 4ቱንም ጎማ መቀየር ነው። የበጋ ጎማ ቅዝቃዜው ከ7 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይደርቃል፣ መንገድ አይቆነጥጥም። ጎኑ ላይ ተራራና የበረዶ ቅንጣት የተሳለበት የክረምት ጎማ ግዛ። ኋላ ደግሞ ከረጢት አሸዋ ጫን። እኔ 6 ክረምት የነዳሁት እንዲህ እያደረግሁ ነው።

የዳንግላው
ካልጋሪ፣ የእናንተ ክረምት በረዶ ነው። የእኛ ዝናብና ጭቃ ነው። የበረዶ ጎማ ደጀን ላይ ከየት ያመጣል? ክብደቱ ላይ ግን እስማማለሁ። 50 ኪሎ ጤፍ ገዝተህ ኋላ ጫን፣ ቀጥ ብሎ ይሄድልሃል። አዲስ አበባ ስትደርስ ጤፉም አይከስርም።

ላዳ ነበረኝ
በኋላ ጎማ ስለሚገፋ ነው የሸሸው የሚለው ነገር አይገባኝም። ላዳም በኋላ ጎማ ነው የሚገፋው። የምንሳፈርበት ሚኒባስም፣ የጭነት መኪናውም ዲፈረንሻሉ ኋላ ነው። ስንት ክረምት አለፍንበት! ችግሩ መኪናው ሳይሆን አነዳድህ ነው። በዝናብ ስንት ነበር የምትነዳው?

የጮቄ ልጅ
60 ገደማ ነበርኩ። ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነው።

መርጦ ለማርያም
50 ኪሎ ጤፍ ወይ ሲሚንቶ ኋላ ጫንበት።

ጎሚስታ ቡሬ
ቆይ፣ ጤፉን ተዉት። ጭነት ከቆመበት ሲነሳ ያግዛል። መላጣ ጎማ ላይ ግን ጥርስ አያበቅልም፣ ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ የምታቆመውን ክብደት ይጨምርብሃል። ወንድሜ፣ «ጎማው ደህና ነው» ያልከው ከውጭ አይተህ ነው አይደል? ይሄ መኪና የኋላ ጎማዎቹ ላያቸው ወደ ውስጥ ዘንበል ያለ ነው፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው። ስለዚህ የሚበላው የውስጡን ጠርዝ ነው። ቆመህ ስታየው ሙሉ ጥርስ አለው፣ ከውስጥ ግን እንቁላል መስሎ ይላጫል። አሁኑኑ ውረድና ከኋላ በኩል ተንበርከክ። እጅህን በጎማውና በሾኩ መሀል አስገብተህ የውስጡን ጠርዝ ዳስስ፤ ቀስ ብለህ፣ ሽቦ ሊኖር ይችላል። ሌላው፣ ጎኑ ላይ ከተጻፈው ረጅም ቁጥር የመጨረሻዎቹን 4 አሃዞች አንብብልኝ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ የፈረንጅ ዓመት ናቸው። ቢጫው መብራት ብልጭ ድርግም ይላል ወይስ ቀጥ ብሎ በርቷል?

የጮቄ ልጅ
ቀጥ ብሎ በርቷል።

ጎሚስታ ቡሬ
ሲንሸራተት ብልጭ ካለ መኪናው እየረዳህ ነው። ቀጥ ብሎ ከበራ የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ጠፍቷል ማለት ነው። ከማርሹ ፊት ዲኤስሲ የሚል ቁልፍ አለ፣ ተጫነው። አልጠፋ ካለ የጎማ ሴንሰር ጭቃ ነክቶት ወይ ተበላሽቶ ይሆናል። ከእሱ ጋር የኤቢኤስ (ፍሬን ስትረግጥ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) መብራትም ከበራ ግን አትንቀሳቀስ።

ሞጣ ነኝ
ጋሼ የአባይ ሹፌር፣ በማርሽ ያዝ ያሉት ትክክል ነው፣ ግን ለዚህ መኪና አንድ ነገር ይጨመርበት። በእርጥብ አስፋልት ማርሽ ቀንሶ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ከለቀቀው ሞተሩ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው። ኩርባ ላይ የእጅ ፍሬን እንደ መሳብ ነው። እኔ በዚህ ነው ዞሬ ቦይ የገባሁት። ማርሹ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ነው የሚገባው፣ ፍሪሲዮኑም ቀስ ብሎ ይለቀቅ። ኋላው ወደ ቀኝ ከሸሸ መሪህን ወደ ቀኝ፣ ነዳጁን ቀስ ብለህ ልቀቅ፣ ፍሬን አትምታ። ዓይንህ ገደሉን ሳይሆን መሄጃህን ይይ።

የአባይ ሹፌር
ትክክል ነው ልጄ። የጭነቱ መኪና ከባድ ስለሆነ እኔ አልታየኝም።

የጮቄ ልጅ
ቁልፉን ስጫነው መብራቱ ጠፋ! እናቴ ቦርሳዋን እዚያ ላይ አስደግፋ ነበር። ጎማውን ግን ምኑን ልንገራችሁ። ተንበርክኬ እጄን አስገባሁ። የቀኙ ከውስጥ ሦስት ጣት ያህል ለስላሳ ነው፣ ምንም ጥርስ የለውም። የግራው ሽቦው ወጥቶ ጣቴን ወጋኝ። ቁጥሩ 1113 ይላል። ከውጭ እኮ አዲስ ይመስላል።

ጎሚስታ ቡሬ
በ2013 የፈረንጅ ዓመት 11ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ላስቲኩ ራሱ ደርቋል። እንኳን ቆምክ። ውኃ የሚወጣበት ጥርስ ከሌለው ጎማው ውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ 60 ላይ በቀጥታ መንገድ የሸሸህ ለዚህ ነው። ሰፊ ጎማ ደግሞ ቶሎ ይንሳፈፋል። መብራቱ ጠፋ ብለህ እንዳትወርድ፣ ኮምፒውተሩ ጥርስ አይሠራለትም። የፊቶቹን ወደ ኋላ ላዙር እንዳትልም፣ ሽቦ ያወጣ ጎማ መሪ ላይ ከፈነዳ ይብሳል። መኪናውን እዚያው አቁም። የዚህን መኪና ጎማ ደጀን ታገኛለህ ብዬ አልጠብቅም፣ ማርቆስ ወይ ባሕር ዳር ይደወል። ሁለት ከሆነ የምትገዛው አዲሶቹ ኋላ ይግቡ።

ላዳ ነበረኝ
እኔ አሁንም 40 እየነዳ ቢወርድ ይደርሳል ባይ ነኝ።

የአባይ ሹፌር
እናቱን ይዞ? ተው እንጂ።

ደጀን ተወላጅ
የጮቄ ልጅ፣ መናኸሪያው አካባቢ ነህ? አሁን ከቀኑ 9 ሰዓት አልሆነም፣ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ መኪና ታገኛለህ። እናታችንን ይዘህ ተሳፈር፣ ፊት ወንበር ለምንላቸው። መኪናህን እኛ ግቢ አስገባው፣ ጠባቂ አለ። በውስጥ መስመር ጽፌልሃለሁ፣ እየው።

የዳንግላው
መኪናው ይሸጣል እንዴ?

የአባይ ሹፌር
የጮቄ ልጅ፣ እናትህ ለቀጠሯቸው ደረሱ ወይ? ማታ ደጋግሜ ገብቼ አይቻለሁ።

ፍኖተ ሰላም
ይሄን አንብቤ የእኔን ማርክ ቱ ቶዮታ ገብቼ ዳሰስኩት። የግራው ከውስጥ ተበልቷል፣ በዚህ ላይ ልጆች ነው የማመላልስበት። ጎሚስታ ቡሬ፣ ነገ ጠዋት ስንት ሰዓት ትከፍታለህ?