ሜሶን ይበሰብሳል ወይስ ይመነዘራል?

መምህርቷ፦
እንደምን ዋላችሁ፣ የቃል ወዳጆች። ዛሬ አንድ ቃል ይዤ መጥቻለሁ። "መበስበስ"።

እዚህ ጎንደር 12ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጆቹ የሚገባቸው ግን በአማርኛ ስናወራ ነው። ባለፈው ከመጽሐፉ ትንሽ ወጣ ብዬ ሜሶን ስለሚባሉት፣ ከአቶም ስለሚያንሱ ቅንጣቶች ነገርኳቸው። "ፓዮን የሚባለው ሜሶን በጣም ፈጥኖ ይበሰብሳል" አልኩ። በማግስቱ ደብተር ስሰበስብ አንዱ ጎበዝ ተማሪዬ እንዲህ ጽፏል፦ "ፓዮን ሲያረጅ እየበሰበሰ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ሙዮን ይቀራል።" ኤክስ ልሰጠው እስክሪብቶ አነሳሁና ተውኩት። ልጁ የጻፈው እኔ የሰጠሁትን ቃል ነው።

ድንች የሚበሰብሰው ልክ እንደዚያ ነው። ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ይሸታል። ፓዮን ግን አያረጅም። አሁን የተወለደውና ቆየት ያለው ምንም ልዩነት የላቸውም፤ በሚቀጥለው ቅጽበት የመጥፋት ዕድላቸው እኩል ነው። የኤሌክትሪክ ቻርጅ ያለው ፓዮን (የማወራው ስለ እሱ ነው) በአማካይ 26 ናኖ ሰከንድ፣ ማለትም 26 የሰከንድ ቢሊዮንኛ ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ብርሃን እንኳ 8 ሜትር አይሞላም። ከዚያ ፓዮኑ የለም፤ በቦታው ሙዮንና ኒውትሪኖ የሚባሉ ሌሎች ቅንጣቶች አሉ። ግማሽ የበሰበሰ ፓዮን የሚባል ነገር የለም። ሌላ ቃል ፈልጉልኝ።

ደምቢያዊው፦
እህቴ፣ ሜሶን ራሱ ምን ማለት ነው? ስሙን ሳናውቅ አሟሟቱን ልንሰይም ነው እኮ።

መምህርቷ፦
ልክ ነህ ወንድሜ። ከግሪክ የመጣ ነው፤ "መካከለኛ" እንደ ማለት። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በ1935 ጃፓናዊው ሂዴኪ ዩካዋ በአቶም አስኳል ውስጥ ፕሮቶንና ኒውትሮንን አጣብቆ የሚይዘውን ኃይል የሚያመላልስ ቅንጣት መኖር አለበት አለ። ክብደቱንም አሰላ። ከኤሌክትሮን በጣም የከበደ፣ ከፕሮቶን ግን የቀለለ ሆነ። በ1947 በእንግሊዝ ብሪስቶል የሴሲል ፓወል ቡድን አገኘው። የፎቶ ቅባት የተቀቡ ሳህኖች ተራራ ላይ አውጥተው ትተው ነው ያጠመዱት፤ በፈረንሳይ ፒክ ዱ ሚዲ ላይ፣ በቦሊቪያ ደግሞ ከእኛ ራስ ደጀን በሚበልጠው በቻካልታያ ላይ። ከሰማይ የሚወርዱ ቅንጣቶች ከፍታ ላይ ይበዛሉ። ፓዮን የኤሌክትሮንን 273 እጥፍ ይመዝናል፤ ፕሮቶን ደግሞ 1836 እጥፍ። በእርግጥም መካከለኛ ነው።

ኋላ ግን ከፕሮቶን የሚከብዱ ሜሶኖች ተገኙ። ቢ የሚባለው ሜሶን የፕሮቶንን ከ5 እጥፍ በላይ ይመዝናል። ዛሬ ሜሶን የምንለው ኳርክ የሚባለው ጥቃቅን ቅንጣትና ተቃራኒው ጸረ ኳርክ ተጣምረው የሠሩትን ቅንጣት ነው። ክብደቱ ከስሙ ወጥቷል። ስሙ ግን ቀረ።

የቅዳሜ ገበያው፦
ይሄማ የብር ነገር ነው ልጄ። ብር ማለት ማዕድኑ ነበር። አያቴ በጠገራ ብር ነግዷል፤ ሲወረወር ይጮኽ ነበር። ዛሬ ወረቀት ይዘን "ብር" እንላለን፤ ማንም አይሳሳትም። ስሙን አትንኩት።

ባለቅኔው፦
ጋሼ እውነት ብለዋል። "ማእከላይ" ልል አስቤ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ወደ መበስበሱ ልመለስ። በግእዝ "ወለጠ" አለ፤ "ውላጤ" የሚወጣው ከእሱ ነው። አንዱ ነገር ሌላ መሆኑን በትክክል ይገልጻል። ግን እኔ ራሴ አልመርጠውም። ጎንደር ላይ "ውላጤ" ያለ ሰው ወዲያው የሚታሰበው የሃይማኖቱ ትምህርት ነው፤ "ያለ ውላጤ፣ ያለ ቱሳሔ" የሚለው። ስንት ሊቅ የተከራከረበትን ቃል ለፓዮን ማውረድ ከበደኝ።

ጀማሪዋ፦
ለምን ዝም ብለን እንደ እንግሊዝኛው "ዲኬይ" አንለውም? እኛ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንደዚያ ነው የምንለው። ሁሉም ይግባባል።

መምህርቷ፦
እናንተ ትግባባላችሁ፤ እውነት ነው። አቶም፣ ኳርክ፣ ኒውትሪኖ ስሞች ናቸው፤ እንዳሉ ይግቡ። ይሄ ግን ግሥ ነው። ልጁ ግሥ ሲሰማ አንድ ነገር ሲሆን በዓይነ ሕሊናው ማየት አለበት። "ዲኬይ" ስለው የሚያየው ነገር የለም። "በሰበሰ" ስለው ደግሞ ድንች ያያል።

ደምቢያዊው፦
እኔን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፤ "ብተና"። ቅንጣት ከቅንጣት ጋር ሲጋጭ ብተና ትሉታላችሁ። እኔ ብተና ስሰማ የሚታየኝ ጤፍ የሚዘራ ገበሬ እጅ ነው።

መምህርቷ፦
ሙከራውን ልንገርህና አንተ ፍረድ። በ1909 ማንቸስተር ውስጥ ሃንስ ጋይገርና ኧርነስት ማርስደን የአልፋ ቅንጣቶችን (ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን የተጣበቁባቸውን) በስስ የብረታ ብረት ቅጠል ላይ ለቀቁ። አብዛኞቹ ሰንጥቀው አለፉ። ጥቂቶቹ ትንሽ ዘወር አሉ። በፕላቲነም ላይ ሲቆጥሩ ከ8000 ገደማ አንዱ ወደ መጣበት ተመለሰ። አለቃቸው ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1911 ከዚህ ተነስቶ አቶም መሃል ላይ ትንሽ፣ ከባድ አስኳል አለ አለ። አስኳሉን ያየው የለም። የተመለሰውን ቆጥረው ነው ያወቁት።

ደምቢያዊው፦
ይሄንንማ ሠርቼዋለሁ! ልጅ ሆኜ ማሽላ ጠብቄአለሁ። ማማ ላይ ቆሜ ወፍ ለማባረር በወንጭፍ ጠጠር እለቃለሁ። ማሽላው ከሰው ቁመት በልጧል፤ ውስጡ አይታይም። ጠጠሩ አብዛኛውን ጊዜ ቅጠሉን ሰንጥቆ ሹ ብሎ ይጠፋል። አልፎ አልፎ ግን "ቋ!" ይልና ይነጥራል። ያኔ እዚያ ጋ ድንጋይ እንዳለ አውቃለሁ። እርሻው ውስጥ ሳልገባ የድንጋዮቹን ቦታ ለይቼ ነበር። የእኔ ቃል "መንጠር" ነው።

መምህርቷ፦
ወንድሜ፣ ከነገ ጀምሮ በዚህ ነው የማስተምረው። "ነጠረ" ለተመለሰው ልክ ነው። ትንሽ ዘወር ብለው ላለፉት ግን አይሆንም፤ እነሱ አልነጠሩም። ስለዚህ የጠቅላላው ስም "ብተና" ይሁን፤ ወደ ኋላ ለመጣው "ነጠረ" እንበል።

ባለቅኔው፦
"አስኳል" ስትሉ እኔም ቅር የሚለኝ አለ። የእንቁላል አስኳል ዋናውን ክፍል ይይዛል። የአቶሙም እንዲያ ነው?

መምህርቷ፦
በፍጹም መሪጌታ። የወርቅን አቶም ብንወስድ ከአስኳሉ 20,000 እጥፍ ገደማ ይሰፋል። አስኳሉን 7 ሚሊ ሜትር የሆነች ሽምብራ አድርገው ፋሲል ግቢ መሃል ቢያስቀምጧት፣ የአቶሙ ዳር ከዚህ እስከዚያ 140 ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ግን ከሞላ ጎደል ያችው ሽምብራ ላይ ነው። ቃሉ መጠኑን ይዋሻል። ቢሆንም አልተወውም። በ1950ዎቹ ስታንፎርድ ላይ ሮበርት ሆፍስታተር ኤሌክትሮን እየበተነ የአስኳልን ቅርጽ ሲለካ፣ ዳሩ እንደ ጠጠር በአንዴ የሚቆረጥ ሆኖ አላገኘውም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሳሳው። ስለዚህ "ፍሬ" ወይም "ጠጠር" ከማለት "አስኳል" ይሻለናል።

ጀማሪዋ፦
እሺ፣ "ባርን"ንስ ምን እንላለን? የብተና ዕድል የሚለካበትን።

መምህርቷ፦
ይሄ ቆንጆ ነው። በ1942፣ በጦርነቱ መሃል፣ አሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች ናቸው ያወጡት። ባርን በእነሱ አገር ገበሬ ድርቆሽና ከብት የሚያስገባበት ትልቅ ቤት ነው። የዩራኒየም አስኳል ለሚመጣበት ቅንጣት እንደዚያ ቤት የሰፋ ዒላማ ነው ለማለት ነው። መጠኑን ልንገርሽ፤ 1 ካሬ ሜትርን ለ10 ቢሊዮን ክፈይ፣ የደረሰሽን እንደገና ለ10 ቢሊዮን፣ የዚያን ደግሞ ለ100 ሚሊዮን። ይሄ ነው "ትልቁ ቤት"።

ደምቢያዊው፦
ጎተራ ነዋ! የእኛው በጭቃና በእበት ተለስኖ፣ ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ፣ ሣር ክዳን ለብሶ የሚቆመው። ከብት ባይገባበትም ከሩቅ የማይሳት ነገር ነው። "ጎታ" ግን አይሆንም፤ እሱ ቤት ውስጥ ነው።

መምህርቷ፦
መለኪያው "ባርን" ይባል፤ ለልጆቹ ስናስረዳ "ጎተራ" እንበል። ከእሱ ጋር ግን አንድ የምለምናችሁ አለ። በባርን ለሚለካው፣ በእንግሊዝኛ "ክሮስ ሴክሽን" ለሚባለው፣ "መስቀለኛ ክፍል" የሚለውን ትርጉም ተዉልኝ። የሚለካው ቅንጣቱ ዒላማውን የማግኘት ዕድሉ ነው። "የዒላማ ስፋት" ብንል ሁሉም ይገባዋል።

የቅዳሜ ገበያው፦
ልጄ፣ እኔ አሁንም መበስበሱ ላይ ነኝ። ፓዮኑ ሲጠፋ ሙዮን የሚባለው ውስጡ ነበር? እንደ ፍሬ ከገለባ ነው የወጣው?

መምህርቷ፦
አልነበረም ጋሼ። ችግሬ እሱ ነው። "ፈረሰ" እንዳልል፣ ቤት ሲፈርስ የሚወድቀው ቀድሞ የነበረው ድንጋይ ነው። ሙዮን በፓዮን ውስጥ የለም። በዚያች ቅጽበት ነው የሚፈጠረው።

የቅዳሜ ገበያው፦
እንግዲያው መዘርዘር ነው። የ200 ብር ኖት ሰጥቼ "ዘርዝርልኝ" እላለሁ። ሁለት የ50፣ አንድ የ100 ይሰጡኛል። ሃምሳዎቹ ሁለት መቶው ውስጥ አልነበሩም። ሁለት መቶውም በእጄ የለም። ሒሳቡ ግን እኩል ነው።

መምህርቷ፦
ጋሼ፣ ይህን አንብቤ ከወንበሬ ተነሳሁ። አሁን ያሉት የኃይል አለመጥፋት ሕግ ነው። ቁጥሩን ይመልከቱልኝ። የፓዮን እረፍት ኃይል (ቆሞ እያለ በክብደቱ ብቻ ያለው) 139.57 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው፤ ኤሌክትሮን ቮልት የቅንጣት ኃይል መለኪያ ነው። ሲጠፋ ለሙዮኑ ክብደት 105.66 ይሄዳል፤ ለሙዮኑ እንቅስቃሴ 4.12፤ ኒውትሪኖው 29.79 ይዞ ይበራል። ደምሩት።

ባለቅኔው፦
"ዘረዘረ"ን በአንድምታው ልፍታው። ብርን ወደ ድቃቂ ለወጠ። አንድም፦ ማሽላው ዛላ አወጣ። አንድም፦ ነገሩን አንድ በአንድ ተናገረ። የመጨረሻው ግን ያሰጋኛል። "የሜሶን ዝርዝር" ያለ ሰው የሜሶኖች ስም የተደረደረበት ወረቀት ነው የሚመጣበት።

የቅዳሜ ገበያው፦
"መንዝርልኝ"ም እንላለን እኮ።

ባለቅኔው፦
እሱ ይሻላል! "ተመነዘረ"። ምንዛሬ ደግሞ የዓይነት ለውጥም አለበት፤ ዶላር ሰጥተህ ብር ትቀበላለህ። ፓዮን ሰጥተህ ሙዮን።

መምህርቷ፦
ተቀበልኩ። "ፓዮን ወደ ሙዮንና ኒውትሪኖ ይመነዘራል።" አንድ ነገር ብቻ ለብቻው ላድርግ። ከባድ አስኳል አልፋ ሲያወጣ ሁለት ፕሮቶንና ሁለት ኒውትሮን ነው የሚወረውረው፤ እነሱ ቀድሞም ውስጡ ነበሩ። እዚያ ጋ "መመንዘር" ይዋሻል። "አልፋ ተፋ" ብል እመርጣለሁ። ሁለቱን በአንድ ቃል ማሰሩ ልክ አይመስለኝም።

ጀማሪዋ፦
ከስንት አንዴ የሚሆኑትስ? "ብርቅዬ ምንዛሬ" እንበላቸው?

መምህርቷ፦
"ብርቅዬ" ሲባል ጎንደሬ የሚያየው የስሜኑን ዋልያ ነው፤ ሌላ አገር የሌለ። እነዚህ የትም ይሆናሉ፤ ቁጥራቸው ነው የሚያንሰው። ግን እህቴ፣ ቃሉን ራስሽ ጽፈሽዋል። "ከስንት አንዴ"! ፊዚክሱ የሚጠይቀው እኮ ያንኑ ነው፤ ከስንቱ አንዱ? ፓዮን ወደ ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ የሚመነዘረው ከ8000 በላይ ከሚሆኑት አንዱ ብቻ ነው። (ከፕላቲነሙ ቁጥር ጋር መቀራረቡ አጋጣሚ ነው።) ወደ ገለልተኛ (ቻርጅ የሌለው) ፓዮን፣ ኤሌክትሮንና ኒውትሪኖ የሚመነዘረው ደግሞ ከ100 ሚሊዮን ገደማ አንዱ። ካዮን የሚባለው ሜሶን ወደ ፓዮንና ሁለት ኒውትሪኖዎች ሲመነዘር ማየታቸውን የሰርን (የአውሮፓ የቅንጣት ምርምር ማዕከል) ኤንኤ62 የተባለው ሙከራ ተመራማሪዎች በ2024 አስታወቁ። ከ100 ቢሊዮን 13 ነው ያገኙት። ከ8 ቢሊዮን አንድ እንደ ማለት ነው፤ ከምድር ሰው ሁሉ አንድ ሰው። ቲዎሪው ከ100 ቢሊዮን 8 ገደማ ይላል። የልኬቱ ስህተት ገና ሰፊ ስለሆነ ሁለቱ ቁጥሮች ተጣሉ አይባልም። ስህተቱ እየጠበበ ሲለካ ግን ያላወቅነው ቅንጣት እዚያ ሊታይ ይችላል። ለዚህ ነው ስንት ዓመት ቆመው የሚቆጥሩት።

ደምቢያዊው፦
ኤሌክትሮን ከሙዮን አይቀልም እንዴ? ቀላሉ ለምን ያንሳል?

መምህርቷ፦
200 እጥፍ ገደማ ይቀላል። ስለዚህ የሚበዛው እሱ መሆን ነበረበት። ነገሩ ሹረት ነው፤ በእንግሊዝኛ "ስፒን" የሚባለው፣ ቅንጣት እንደ እንዝርት የሚሾር ያህል የሚይዘው ነገር። ፓዮን አይሾርም፤ ስለዚህ የሚወጡት ሁለቱ ሹረታቸው ተጣፍቶ ዜሮ መግባት አለበት። ኒውትሪኖ ደግሞ ሁልጊዜ ግራኝ ነው፤ ከሚሄድበት አቅጣጫ አንጻር ሹረቱ በግራ ብቻ ነው። ያ አጋሩን (ሙዮኑን ወይም ኤሌክትሮኑን) የማይስማማውን የሹረት ወገን እንዲይዝ ያስገድደዋል። ቅንጣት በፈጠነ ቁጥር ያን ወገን መያዝ ይከብደዋል። ሙዮን ከባድ ነው፣ ቀስ ይላል፣ ይችለዋል። ኤሌክትሮን አይሆንለትም፤ ከስንት አንዴ ካልሆነ።

ዛሬ ጠዋት ያን ልጅ ሰሌዳ ላይ አወጣሁት። "ፓዮን ይመነዘራል" ብዬ ጻፍኩና ሦስቱን ቁጥሮች ሰጠሁት። ጠመኔውን ይዞ ደመረ። "139.57። ሞላ" አለ፤ ልክ ሱቅ ውስጥ መልስ እንደሚቆጥር። ደብተሩንም አርሞ መለሰልኝ።

ቀጥሎ የማመጣው "ስፒን"ን ነው። "ሹረት" ያልኩት ከእንዝርት ወስጄ ነው። እናቶቻችሁ እንዝርት በቀኝ ሲዞርና በግራ ሲዞር ለየብቻው ስም ካላቸው ጠይቁልኝ።